የሞተር ክፍል ረዳት ሆኜ፦ የመጀመሪያዬ የጠፈር ላርፕ

መጀመሪያ ፍርዴን ልናገርና ጊዜ የሌለው ሰው ይገላገል፦ ደግሜ እሄዳለሁ። ይህን የምለው ግን እሁድ ማታ ቤቴ ገብቼ፣ ታጥቤ፣ ተኝቼ ከተነሳሁ በኋላ ነው። ዓርብ ማታ አምስት ሰዓት ላይ ብትጠይቁኝ ኖሮ መልሴ ሌላ ነበር። ቦርሳዬን ከአልጋው ሥር አውጥቼ በር በሩን እያየሁ ነበር።

ላርፕ ምን እንደሆነ ለማታውቁ፦ ድራማ ነው፣ ግን ተመልካች የለውም፣ የሚሸመደድ ጽሑፍም የለውም። አንድ ሰው ትሆናላችሁ፣ ልብሱን ትለብሳላችሁ፣ ከዚያ ጨዋታው እስኪያልቅ እንደዚያ ሰው ትበላላችሁ፣ ትጣላላችሁ፣ ትተኛላችሁ። ብዙ ሰው የሚያውቀው በሰይፍና በጋሻ የሚጫወቱትን ነው። እሱ ዛሬ የመጣ ነገር አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ዳጎሂር የሚባለው የስፖንጅ ሰይፍ ጨዋታ የተጀመረው በ1977 እ.ኤ.አ. ነው። እንግሊዞች ደግሞ በ1982 ፔክፎርተን በሚባል ግንብ ውስጥ ትሬዠር ትራፕ ያሉትን ጀምረዋል። እኔ የሄድኩበት ግን ሰይፍ የለውም፤ ሳይንስ ፊክሽን ነው፣ የጠፈር መርከብ። በዚህኛው ዓይነት ስሙ የሚነሳው ስዊድኖች በ2013 ጎተንበርግ ላይ የተጫወቱት ነው፤ ሙዚየም የሆነች እውነተኛ የጦር መርከብ ውስጥ ገብተው ጠፈር ላይ ያለች አደረጓት። ፊንላንዶችም በ2019 አንድ ትምህርት ቤት ወደ ጠፈር መርከብ ለውጠዋል።

የእኛው እንዲህ ያለ ገንዘብ የለውም። የተከራዩት የወጣቶች ካምፕ ነው። ግድግዳው ላይ ብርማ ወረቀት ለጥፈዋል፣ በኮሪደሩ የሚዞር ገመድና ቧንቧ ዘርግተዋል፣ መስኮቱን በሙሉ በጥቁር ፕላስቲክ ሸፍነውታል። ቀን ቀን ስታዩት ቀሽም ነው። መብራቱ ሰማያዊ ሲሆንና ከድምፅ ማጉያው ያ ዝቅ ያለ የሞተር ድምፅ ሲመጣ ግን ነገርዬው ይቀየራል። በተለይ መስኮቱ መሸፈኑ። ሌሊት ይሁን ቀን ሳታውቁ 20 ሰዓት ስትቆዩ አእምሯችሁ ራሱ ይሸነፋል።

ምዝገባው ቀላል ነበር። ፎርም ሞላሁ፣ ያለብኝን ሕመምና የማልፈልጋቸውን ነገሮች ጻፍኩ። (ጠባብ ቦታ ውስጥ መቆለፍ አልወድም ብዬ ነበር፤ እስከ መጨረሻው አክብረውልኛል።) ከዚያ 40 ገጽ የሚሆን የሕግ ሰነድ ላኩልኝ። በተግባር የጠቀመኝ ስድስቱ ገጽ ነው። የራስሽን ካራክተር ፍጠሪ ስባል ደግሞ ልብ ወለድ ጸሐፊ ሆኜ ቁጭ አልኩ። ሁለት ገጽ ሙሉ! ከማዕድን ጣቢያ ያመለጠች፣ እህቷን የከዳች፣ ከባድ ምስጢር የያዘች መካኒክ። ያንን ምስጢር ሁለት ቀን ሙሉ የጠየቀኝ አንድ ሰው የለም። ሁሉም የራሱን ምስጢር ተሸክሞ ጠያቂ እየፈለገ ማን ማንን ይጠይቅ?

ስለ ልብስ ብዙ አትጨነቁ። ያረጀ የመካኒክ ቱታ፣ ክንዱ ላይ የሰፋሁት አርማ፣ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ፣ በቃ። ሽጉጡ ነርፍ ነው፣ ያ ልጆች የሚጫወቱበት፣ የስፖንጅ ጥይት የሚተኩሰው። መጫወቻ እንዳይመስል ሁሉም ቀለም ይቀባዋል። እኔ ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ሆኖብኝ ሐሙስ ሌሊት ቀባሁት፤ ዓርብም አልደረቀም ነበርና ቅዳሜን ሙሉ መዳፌ ግራጫ ሆኖ ዋለ። ዋና መካኒኳ ግን አይተውት “የሠራተኛ እጅ ነው” ስላሉኝ ኮራሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ የተቀባ ነርፍ ከሩቅ እውነተኛ ይመስላልና መንገድ ላይ ቦርሳ ውስጥ ይዘጋ። የዓይን መከላከያ መነጽርም ያዙ። ስፖንጅ ነው ብላችሁ አትናቁት፣ ዓይን ላይ ሲያርፍ ስፖንጅ አይደለም።

ጨዋታው ሳይጀመር ስለ ደህንነት የሰጡን ገለጻ ከጠበቅኩት በላይ ነው። አንድ ሰዓት ፈጀ፣ አንዷ ደቂቃም አልባከነችም። ማንም ሰው “ቁም” ካለ ሁሉም ባለበት ይቆማል፤ ጨዋታው ይቋረጣል። “ቀስ” ካለ ደግሞ ጨዋታው አይቆምም፣ ግን ከዚህ በላይ አትግፉኝ ማለት ነው። እጁን እንደ ፀሐይ መከላከያ ዓይኑ ላይ ጋርዶ የሚወጣን ሰው ማንም የት ሄድክ አይለውም። በጣም የወደድኩት ግን ይቺን ነው፦ አውራ ጣትና አመልካች ጣታችሁን ገጥማችሁ ክብ ሠርታችሁ ታሳያላችሁ፣ “የእውነት ደህና ነሽ?” ማለት ነው። መልሱ አውራ ጣት ወደ ላይ ከሆነ ጨዋታው ይቀጥላል። ወደ ታች ከሆነ፣ ወይም መሃል ላይ ከዋለለ፣ ይዘዋችሁ ይወጣሉ። አንድ ቃል መናገር አያስፈልግም። ዓርብ ሲያለማምዱን ውስጤ ትንሽ ስቆ ነበር፤ እመለስበታለሁ።

ዓርብ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ መብራቱ ጠፋ። ከዚያ ሰማያዊ ሆኖ በራ፣ በድምፅ ማጉያ “የመርከቧ ሠራተኞች በየቦታችሁ” ተባለ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የራስ ስም የለም። አዲሱን ስሜን ሦስት ጊዜ ሲጠሩኝ አልዞርኩም፤ አጠገቤ የቆመው ሰውዬ ነው ነካ ያደረገኝ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ሰዓታት የዝግጅቱ ትልቁ ጉድለት ናቸው። ነባሮቹ ይተዋወቃሉ። ባለፈው ጨዋታ የሞተባቸውን ጓድ እያነሱ ያለቅሳሉ፣ የድሮ ጠባቸውን ካቆሙበት ይቀጥላሉ። እኔ ኩባያ ይዤ ግድግዳ ተደግፌያለሁ። ወደ አንዱ ቡድን ጠጋ ስል ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ ምስጢር እያወሩ ነዋ! በዚያ ላይ ጎበዝ ተዋናዮች ናቸው፣ ችግሩም እሱ ነው። በጨዋታው ውስጥ ጠርጥረውኝ ይሁን በእውነት አስጠልቻቸው መለየት አቃተኝ። ሼም ያዘኝ። ፎርሙ ላይ “የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው” የሚል ሳጥን ነበር፣ ምልክት አድርጌበታለሁ። ለምን እንደጠየቁኝ እስካሁን አልገባኝም። ለእያንዳንዱ ጀማሪ አንድ ነባር ቢያጣምሩለት ምን ይጎድልባቸው ነበር?

አምስት ሰዓት ላይ ነው እንግዲህ ቦርሳዬን አውጥቼ ያየሁት። ከዚያ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ ወደ ሞተር ክፍል ወረድኩ። ዋና መካኒኳ በዕድሜ ጠና ያሉ ሴት ናቸው፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ሽቦ ይፈታሉ።

“አለቃ፣ ሥራ ካለ ይስጡኝ” አልኳቸው።

ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም። “ባትሪ አለሽ?”

“አለኝ።”

“እዚህ ጋ አብሪልኝ።”

ለእኔ ጨዋታው የጀመረው ያኔ ነው። ሁለት ገጽ ታሪኬ ያልከፈተልኝን በር አንድ ባትሪ ከፈተው። ጀማሪ የሚያስፈልገው የሚሠራው ሥራና እጁን የሚፈልግ አንድ ሰው ነው፤ ሌላው ቀስ ብሎ ይመጣል።

ሳጥኑን ልንገራችሁ፣ ሁለት ቀን አብሬው ስለኖርኩ። የጫማ ካርቶን የሚያህል የቆርቆሮ ሳጥን ነው። ውስጡ 12 ሶኬት፣ ስድስት ሽቦ፤ ሁለት ቀይ፣ ሁለት ቢጫ፣ ሁለት ነጭ። መርከቧ በተመታች ቁጥር አዘጋጆቹ ከሌላ ክፍል ሆነው ያበላሹታል። እኛ ወፍራሙን የጥገና ፋይል ገልጠን የዚያን ብልሽት ሥዕል እንፈልግና ሽቦዎቹን እንደ ሥዕሉ እንሰካለን። ልክ ከሆነ አንዲት ትንሽ አረንጓዴ መብራት ጭል ትላለች። ከተሳሳትን ጆሮ የሚበጥስ ጩኸት። ገጽ 14 ግን ከፋይሉ ጠፍቷል። በምትኩ ከእኛ በፊት የነበረ ተጫዋች በእርሳስ የሣለው የተጨማደደ ወረቀት ገብቷል። በእርሳስ! ቢጫውና ነጩ ሽቦ በእርሳስ ምን ልዩነት አላቸው?

ከሳጥኑ ጎን ስክሪን አለን። መርከቧ የምትሠራው ኤምፕቲ ኤፕሲሎን በሚባል፣ በነፃ በሚገኝ ፕሮግራም ነው። ላይኛው ክፍል ውስጥ አንዱ ይነዳል፣ አንዱ መሣሪያውን ይይዛል፣ አንዱ ከሩቅ የሚመጣውን እየመረመረ ይለያል፣ አንዱ መገናኛው ላይ ነው። የእኛ ድርሻ ኃይል ማከፋፈል ነው። ለእያንዳንዱ ክፍል ኃይሉን እስከ 300 በመቶ መግፋት ይቻላል፤ ከልኩ ሲያልፍ ግን ይግላል፣ ሲግል ማቀዝቀዣ ከሌላው ነጥቆ መስጠት ነው፣ ካልደረሱለት ይጎዳል። የጨዋታው ውበት እዚህ ላይ ነው፦ እኛ ጠላትን አናይም፣ ላይ ያሉት ሙቀቱን አያዩም። ስለዚህ በሬዲዮ መጮህ ግዴታ ነው። እነዚያ ዓርብ ማታ ያንሾካሾኩብኝ ሰዎች ቅዳሜ ጠዋት ስሜን እየጠሩ ኃይል ይለምኑኝ ጀመር። አሪፍ ነው፣ አልዋሽም።

ቅዳሜ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ተጠቃን። መብራቱ ቀይ ሆነ። አለቃዬ ተመትተው መሬት ላይ ናቸው፣ ሐኪሙ ቁስላቸውን እያሰረላቸው ነው። ሬዲዮው ጮኸ፦ “ሞተር ክፍል! ስንት ደቂቃ ትቆያለች?” ስክሪኑ ላይ ደቂቃ የሚባል ቁጥር የለም። “አሥር ደቂቃ፣ ካፒቴን!” አልኩ። ከየት እንዳመጣሁት እግዜር ይወቀው። ትንሽ ዝም ተባለ። ከዚያ ካፒቴኑ ከመርከቧ ወጥተው አንድ የጠፈር ጣቢያ ላይ ያሉት ሁለት ተመራማሪዎቻችን ለመመለስ ሩብ ሰዓት እንደሚፈጅባቸው ሲነገረው ሰማሁ። መርከቧን እንዲያነሱ አዘዘ።

ትተናቸው ሄድን።

በእኔ አሥር ደቂቃ! ሳጥኑ ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ድካምም ነበረበት፣ ግን የእውነት ለቅሶ ነው። ሐኪሙ አለቃዬን ሲያክም አንዲት ቃል ሳያቋርጥ፣ በግራ እጁ ብቻ፣ ያቺን ክብ አሳየኝ። አውራ ጣቴን ወደ ላይ አደረግኩ፤ ወደ ሥራው ተመለሰ። ዓርብ የሳቅኩባት ምልክት።

እሁድ ከሰዓት ጨዋታው ሲያልቅ በክብ ተቀምጠን ሁሉም ያጋጠመውን አወራ። ከተውናቸው ተመራማሪዎች አንዷ መጥታ አቀፈችኝ፤ ካሳለፈቻቸው አሟሟቶች ሁሉ ይሄኛው አንደኛ ነው አለች። “ግን የእውነት አሥር ደቂቃ ነበር?” ብላ ጠየቀችኝ። እኔ መልስ ሳፈላልግ ከኋላ ከጨዋታው መሪዎች አንዱ “ምንም ገደብ አልነበረም፣ እሷ ስትናገር ሰምተን ነው ሰዓት መቁጠር የጀመርነው” አለ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ካፒቴኑም መጣ። ሁለት ቀን ሙሉ “እርስዎ” ስለው ከርሜ ቀረብ ሲል ያየሁት ገና ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ልጅ ነው። “አንተ” ለማለት ምላሴ እምቢ አለኝ።

ቅሬታዬን ልጨርስ። ተኩሱ ደካማ ነው። በጨለማ ኮሪደር የስፖንጅ ጥይት ማን ማንን እንደመታ አይታይም፣ “መትቼሃለሁ”፣ “አልመታኸኝም” እየተባለ ጨዋታው ይደፈርሳል። መኝታው ቀዝቃዛ ነው፣ ሙቀት ያለው የመኝታ ከረጢት ይዛችሁ ሂዱ። መጨረሻው ደግሞ ተቻኩሏል። ሁለት ቀን የገነባነውን ታሪክ አንዱ መሪ ከወረቀት ላይ በአምስት ደቂቃ አንብቦ ዘጋው፣ በጣም ደበረኝ። ከዚያ የሰኞው ነገር አለ፦ ሥራ ቦታ ተቀምጬ ያለ ምክንያት ሆድ ባሰኝ። ነባሮቹ የተለመደ ነው ብለው አስቀድመው ነግረውኝ ስለነበር አልደነገጥኩም። ሰኞን እረፍት ብወስድ ኖሮ ግን ይሻለኝ ነበር።

ዝም ብሎ ፈታ ማለት ለሚፈልግ ሰው አልመክረውም፤ ያደክማል። ዓይን አፋር ከሆናችሁ ግን አትፍሩ፣ ቀድማችሁ ለአዘጋጆቹ ጻፉና ሥራ ያለው ካራክተር ጠይቁ፦ መካኒክ፣ ሐኪም፣ መገናኛ፣ የቻላችሁትን። እሱም ከከበዳችሁ በብዙ ቦታ እንደሚደረገው መጀመሪያ ከአዘጋጆቹ ጎን ሆኖ ጠላት እየሆኑ መግባት ይቻላል። አጫጭር ሚና ነው፣ ቶሎ ሞቶ ሻይ መጠጣት አለው።

ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቻለሁ። የቀረችው የዓርቧ ሁለት ሰዓት ናት። ለሚቀጥለው ዙር ተመዝግቤያለሁ፣ አለቃዬም ቦታሽን ይዤልሻለሁ ብለውኛል። አዘጋጆቹ ይህን ካነበባችሁ አንድ ልመና ብቻ፦ ገጽ 14ን አትሙልን። በቀለም።