ያገለገለ የባትሪ ፊውዝ በአዲስ ዋጋ እንዳይሸጥላችሁ

ዕድሜው ወደ አሥር ዓመት የተጠጋ ቴስላ ሞዴል ኤስ የምትነዱ ወገኖች፣ የባትሪ ፊውዝ ከማስቀየራችሁ በፊት ሜክሲኮ አካባቢ በሚገኝ አንድ ጋራዥ የደረሰብኝን እንድታውቁት ይህን ጽፌያለሁ። ከጋራዡ ጋር ገና ስላልተስማማን ስሙን አልጠቅስም።

ዳሽቦርዱ ላይ ፊውዙ መቀየር እንዳለበት የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ሲወጣ መኪናዋ እንደ ወትሮዋ ትሄድ ነበር። የተቀበሉኝ ባለሙያ ግን ኮምፒውተር እንኳ ሳያገናኙ «ባትሪው ሞቷል፤ ሙሉውን መቀየር ነው» አሉኝ። አልቀበልም ስላቸው ወደ ፊውዙ ተመለሱና «አዲስ፣ ከዱባይ የመጣ» ያሉትን በ78,000 ብር ገጠሙልኝ። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ያው ማስጠንቀቂያ ተመልሶ መጣ።

ይህ ዕቃ ድሮ ቫልቮላ እያልን እንቀይረው እንደነበረው፣ ሽቦው ሲቀልጥ ብቻ የሚጣል ፊውዝ አይደለም። ኩባንያው በ2015 እ.ኤ.አ. ባስተዋወቀው በዚህ ፊውዝ ውስጥ፣ የኤሌክትሪኩን ፍሰት በሚሊ ሰከንድ ደረጃ የሚከታተል ኤሌክትሮኒክስና ለእሱ ኃይል የሚሰጥ የራሱ ትንሽ የሊቲየም ባትሪ አለ፤ ፍሰቱ ከልክ ሲያልፍ በውስጡ ያለው ጥቂት ፈንጂ ተቀጣጥሎ መስመሩን ይቆርጠዋል። የመኪናው ትልቁ ባትሪ ጤነኛ ቢሆንም ይህ ትንሹ ባትሪ ሲያረጅ ፊውዙ ይቀየራል። ትንሹ ባትሪ ደግሞ መኪናው ቢነዳም ባይነዳም ስለሚያረጅ፣ ከታረደ መኪና የተፈታ እኩያ ፊውዝ የቱንም ያህል ቢወለወል ከወለቀው አይሻልም።

ሁለተኛ ጊዜ ሲፈታ አጠገባቸው ቆሜ አየሁ። በመዳቡ ጫፍ ላይ ሁለት ክብ የሮንዴላ ምልክቶች፣ አንዱ በቀዳዳው ዙሪያ በትክክል፣ ሌላው ትንሽ ዘመም ብሎ፣ ተደራርበው ይታዩ ነበር፤ ከእኔ በፊት በሌላ መኪና ላይ ታስሮ ኖሯል ማለት ነው። የዕቃው ቁጥር የሚለጠፍበት ወረቀት በምላጭ ተፍቆ ሙጫው ብቻ ቀርቷል። ስጠይቃቸው መልስ በመስጠት ፈንታ «ከፈለጉ በመዳብ ዳይሬክት እናደርግልዎታለን» አሉኝ። ወደ 400 ቮልት የሚጠጋ ባትሪ ያለ ፊውዝ በመዳብ ከተያያዘ፣ አጭር ዙር ሲፈጠር ያንን ከሺህ አምፔር በላይ ፍሰት የሚያቋርጥ ነገር አይኖርም። ይህን የሚሉት ሰው ደግሞ ሥራውን ሲሠሩ የነበረው ለ1,000 ቮልት የተሠራ የጎማ ጓንት ሳያደርጉ በባዶ እጃቸው ነበር።

ያገለገለ ዕቃ መሸጥ በራሱ ነውር አይደለም። ሶማሌ ተራ የጠየቅኋቸው አንድ ነጋዴ ያላቸው ያገለገለ መሆኑን ነግረው «ለዚህ አይሆንዎትም» ብለው አሰናብተውኛል። እኔን ያስቆጣኝ መደበቁ ነው።

ስለዚህ ፊውዙ ከካርቶኑ ሲወጣ በዓይናችሁ እዩ፤ ቁጥሩንና የመዳቡን ጫፎች ከመገጠሙ በፊት ፎቶ አንሱ፤ የወለቀውንም ተቀብላችሁ ሂዱ። የእኔን ስጠይቅ «ተጥሏል» ተብያለሁ፤ ምናልባት ተወልውሎ የሌላ ሰው መኪና ላይ ይገጠም ይሆናል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴው ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል፤ ነገር ግን የእኔ ደረሰኝ «ፊውዝ 1» ብቻ ስለሚል፣ እናንተ «አዲስ» የሚለው ቃልና የዕቃው ቁጥር ሳይጻፍበት ገንዘብ አትክፈሉ። የእኔ ገንዘብ እስካሁን አልተመለሰም።