ማክስ ፋን ኮንትሮል በ2011 አይማክ ላይ፦ ሃርድ ዲስኩ በኤስኤስዲ ከተተካ ከወራት በኋላ

የ2011 (እ.ኤ.አ.) አይማክ፣ ማለትም የአፕል ባለ ስክሪን ኮምፒውተር፣ ከፍቶ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል በሌለው ፈጣን ዲስክ) የተካ ሰው የፍጥነቱን ለውጥ ሳያጣጥም ጩኸቱ ይቀድመዋል። ኮምፒውተሩ በተነሳ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የዲስኩ ፋን በደቂቃ ከ1100 ዙር ተነስቶ ወደ 6000 ይጠጋል። ኤስኤስዲው ግን አልጋለም። ጩኸቱን ያመጣው የሙቀት መረጃ መጥፋቱ ነው።

አፕል በዚህ ሞዴል የዲስኩን ሙቀት በተለየ ሴንሰር አያነብም። ለአፕል ተብሎ የተዘጋጀ ፈርምዌር (በዲስኩ ውስጥ ያለ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም) ያለው ዲስክ ራሱ ሙቀቱን በፓወር ኮኔክተሩ በኩል ይልካል። ከገበያ የተገዛ ዲስክ ይህን ምልክት ስለማይልክ ማሽኑ የከፋውን ገምቶ ፋኑን ሙሉ በሙሉ ይለቀዋል። ብዙዎች መጀመሪያ የሚመክሩት ኤስኤምሲ ሪሴት (ፋንና ኃይል የሚቆጣጠረውን ቺፕ ዳግም ለማስጀመር የመብራት ገመዱን ነቅሎ 15 ሰከንድ መጠበቅ) ለዚህ ችግር ምንም አይፈይድም።

የፋን ፍጥነት የሚቆጣጠረውን ማክስ ፋን ኮንትሮል የተባለ ሶፍትዌር ከመጫን በፊት ግን የትኛው ፋን እንደሚጮኽ ማየት ይገባል። አይማኩ ሦስት ፋን አለው፦ የዲስኩ፣ የሲዲ ማጫወቻው እና የሲፒዩው። የዲስኩ ብቻ ከሆነ ከላይ የተባለው ነው። ሦስቱም አብረው ከጮኹ ስክሪኑ ሲመለስ ያልተሰካ ገመድ አለ ማለት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚረሳው ቀጭኑ የስክሪን ሙቀት ሴንሰር ገመድ ነው። ይህን በሶፍትዌር መሸፈን ስህተት ነው። መስታወቱን በመምጠጫ ጎማ አንስቶ፣ የስክሪኑን ብሎኖች በቲ10 ቶርክስ ካቻቪቴ ፈቶ ገመዱን መሰካት ግድ ይላል።

ወደ ማክስ ፋን ኮንትሮል እንምጣ። ነፃው እትም ለዚህ ሥራ ይበቃል፤ ፕሮ ለሚባለው መክፈል አያስፈልግም። ጥቅሙ ከውጭ የተገዛውን ዲስክ ሙቀት በስማርት (ዲስኮች ስለ ራሳቸው ሁኔታ መረጃ በሚሰጡበት ሥርዓት) በኩል ማንበቡ ነው። በዝርዝሩ ውስጥ ከዲስኩ ፋን አጠገብ ያለውን ቅንብር ከፍቶ በሴንሰር የሚመራውን ምርጫ መውሰድ፣ ከዚያ የኤስኤስዲውን ስም መምረጥ ነው። ቀጥሎ ሁለት ቁጥር ይጠይቃል፦ ፋኑ መፍጠን የሚጀምርበት ሙቀት እና ሙሉ ፍጥነት ላይ የሚደርስበት ጣሪያ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። 40 እና 45 ዲግሪ ከተሞላ፣ በ1100 እና በ6000 መካከል ያለው ልዩነት ለአምስት ዲግሪ ስለሚካፈል እያንዳንዱ ዲግሪ ወደ 1000 ዙር ይጨምራል። ያኔ ፋኑ ከፍ ዝቅ እያለ ያለማቋረጥ ይተነፍሳል፤ ይህ ደግሞ ወጥ ከሆነ ጩኸት ይልቅ ያናድዳል። 40 እና 65 ሲሆን አንዱ ዲግሪ የሚጨምረው 200 ዙር ገደማ ስለሆነ ለውጡ በጆሮ አይለይም። በተለምዶ የሳታ ኤስኤስዲዎች እስከ 70 ዲግሪ እንዲሠሩ የተፈቀደላቸው ስለሆኑ 65 ጣሪያ አደጋ የለውም። አዲስ አበባ ላለ ሰው መነሻው ከ40 ባይበልጥ ይሻላል። ከተማዋ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ አንድ አምስተኛ ያህል ሳስቷል፤ በእኩል ዙር የሚወሰደው ሙቀትም በዚያው ልክ ያንሳል።

ርካሽ ኤስኤስዲ የገዛ አንድ ነገር ይፈትሽ። አንዳንዶቹ እውነተኛ ሴንሰር ስለሌላቸው ሁልጊዜ አንድ ቁጥር፣ ለምሳሌ 33 ወይም 40፣ ይናገራሉ። አሥር ጊጋ የሚያህል ፋይል እየገለበጡ ቁጥሩን ማየት ነው። ካልተንቀሳቀሰ ያ ሴንሰር ውሸታም ነውና ፋኑን ከፓወር ሰፕላዩ ወይም ከሌላ የውስጥ ሴንሰር ጋር ማያያዝ ይሻላል። ፋኑን በ1100 ቆልፎ መተው ጸጥታን ይሰጣል፤ ሆኖም ያ አየር ለዲስኩ ብቻ ስላልሆነ ቪዲዮ ለሚያቀናብር ሰው አይመከርም። የሲፒዩውን እና የሲዲ ማጫወቻውን ፋን በአውቶ መተው ነው፤ እነሱ ሴንሰራቸው አልጠፋም።

ከወራት በኋላ የቀረው ቅሬታ አንድ ዓይነት ነው፦ ሶፍትዌሩ የሚሠራው ተጠቃሚው ከገባ በኋላ ብቻ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣና ማሽኑ የይለፍ ቃል እየጠበቀ ሲቆም ፋኑ እየጮኸ ይቆያል። ማክኦኤስ እንደገና ሲጫን ደግሞ መጫኑ እስኪያልቅ ይጮኻል፤ አይጎዳም፣ ያደነቁራል እንጂ። ከአንድ በላይ አካውንት ካለ በእያንዳንዱ ላይ ከመግቢያ ጋር አብሮ እንዲነሳ መደረጉን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። በቡት ካምፕ (ዊንዶውስን በማክ ላይ በሚያስጭነው የአፕል ፕሮግራም) ዊንዶውስ የሚጠቀም የዊንዶውሱን እትም ለብቻው ይጭናል። ለሊኑክስ ግን የለም። በጎ ጎኑ ሲዘጋ ፋኖቹን ወደ አውቶ መመለሱ ነው፤ ያኔ ጩኸቱ ይመለሳል እንጂ ማሽኑ ሳይቀዘቅዝ አይቀርም።

ስክሪኑን ገና ያልከፈተ ሰው ግን ሌላ ምርጫ አለው፦ ከዲስኩ እና ከዋናው የፓወር ገመድ መካከል የሚገባ የሙቀት ሴንሰር ያለው ኬብል። የማክ ዕቃዎች ሻጩ ኦደብሊውሲ ለ2011 ሞዴል ብቻ የተዘጋጀ ይሸጣል፤ የ2009 እና የ2010 አይማኮች ሽቦ የተለየ ስለሆነ የአንዱ ለሌላው አይሆንም። ኬብሉ ለማሽኑ ራሱ ስለሚናገር በመግቢያ ገጹም፣ በሊኑክስም፣ ማክኦኤስ ሲጫንም ጸጥታው አይቋረጥም። ኬብሉ ሳይገዛ ስክሪኑን መክፈት አይመከርም። ለዚህ ብቻ ሲባል የተዘጋውን ዳግም መክፈት ግን፣ መብራት ቶሎ ቶሎ የማይጠፋበት ሰፈር ለሚኖር ሰው፣ ከጥቅሙ ድካሙ ይበልጣል።

ለማንኛውም ስክሪኑ ሲከፈት ከታች በኩል ያሉትን የአየር መግቢያ ቀዳዳዎች በለስላሳ ብሩሽ መጥረግ፣ የፋኖቹንም ክንፍ በጣት ይዞ አቧራውን መንፋት ነው። ክንፉ ሳይያዝ ከተነፋ ከልኩ በላይ ይሽከረከርና የሚዞርበት ቡሽ ይጎዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ጉርጉርታ የትኛውም ሶፍትዌር አያጠፋውም።