ጃፓን በክሩዝ ለምትሄዱ፦ «ሎካል ጋይድ» ለሚሉት ቱር ሳታጣሩ ካርዳችሁን እንዳታወጡ

ወገኖች ሰላም ናችሁ። ጽሁፉ ረዘም ስለሚል ይቅርታ፣ ግን በክሩዝ ጃፓን ለመሄድ ያሰባችሁ ካላችሁ ቡናችሁን ያዙና አንብቡት፣ እኔ 567 ዶላር ከፍዬ የተማርኩትን እናንተ በነጻ ነው የምታገኙት።

ዘንድሮ በሁዳዴ፣ መጋቢት መጨረሻ ላይ፣ እኔ ባለቤቴና እማዬ ሆነን ከዮኮሃማ የሚነሳ መርከብ ያዝን። እማዬ 70 ሊሞላት ነው፣ ጉልበቷንም ያማታል፣ ግን የቼሪውን አበባ በቲቪ ካየችው ጀምሮ «አንድ ቀን በዓይኔ ልየው» ስትል ስለኖረች ከቨርጂኒያ ድረስ አመጣናት። መርከቡ አንድ ቀን ኮቤ ይቆማል፣ ኪዮቶ ደግሞ ከኮቤ ቅርብ ስለሆነች በመርከቡ ያለ ሰው ሁሉ ያቺን ቀን ኪዮቶ ሄዶ ቴምፕልና ሽራይን ማየት ነው የሚፈልገው። መርከቡ ራሱ የሚሸጠው ቱር ውድ ሆነብን። ማታ ማታ ኦንላይን ስፈልግ አንድ ድርጅት አገኘሁ፣ በሰው 189 ዶላር፣ ፎቶው ላይ ስምንት ሰዎች በቀዩ በር ስር ቆመው ይስቃሉ። የተጻፈው ደግሞ ቢበዛ 8 ሰው፣ ላይሰንስ ያለው የሀገሬው ጋይድ፣ መግቢያ የተከፈለ፣ ፉሺሚ ኢናሪ፣ ኪዮሚዙደራ፣ ኪንካኩጂ (ሶስቱም ኪዮቶ ያሉ ዝነኛ ሽራይንና ቴምፕሎች ናቸው)፣ ምሳ የቴምፕል የጾም ምግብ፣ በሰዓቱ ወደ መርከባችሁ እንመልሳለን ጋራንቲ። የጾም ምግብ የሚለውን ሳይ በቃ አለቀልኝ፣ ለእማዬ ብዬ ሳላቅማማ ከፈልኩ።

ሰዓቱን በኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ጠዋት 2 ሰዓት ወደቡ በር ላይ ጠብቁን አሉን፣ ጠበቅን። የመጣው ሚኒባስ ሳይሆን ትልቅ አውቶቡስ ነው፣ ግማሹ ሰው ተሞልቷል። ግማሹስ? እሱን ለመሙላት ነው 3 ሰዓት ከ10 ድረስ ወደቡ ላይ የቆምነው፣ ከዛ ደግሞ ኦሳካ ገብተን ከሆቴል ሌሎች ሰዎች ለቀምን። ባለቤቴ ቆጠራቸው፣ 41 ሰው። ስምንት ያሉን ምናልባት በረድፍ ይሆናል አለኝ፣ እሱ እንዲህ ነው ሲናደድ ይቀልዳል።

ጋይዷ ልጅ እግር ናት፣ ትንሽ ቢጫ ባንዲራ ይዛለች፣ ማይኩ ይቆራረጥባታል። ልጅቷን አልወቅሳትም፣ እሷንም እንደኛ ያታለሏት ነው የመሰለኝ፣ 41 ሰው ብቻዋን ስትነዳ ላብ በላብ ሆናለች። ላይሰንስሽን ማየት እንችላለን ወይ አልኳት በጨዋ ደንብ፣ ሳቀችና «አሁን አያስፈልግም» አለችኝ። በኋላ ሳጣራ እውነቷን ነው። ጃፓን ውስጥ ድሮ በውጭ ቋንቋ እየተከፈለህ ለማስጎብኘት የመንግስት ፈተና ማለፍ ግድ ነበር፣ ከ2018 ጀምሮ ግን ህጉ ስለተቀየረ ማንም ሰው ተከፍሎት ማስጎብኘት ይችላል፣ የማይችለው ሳይፈተኑ ያንን የባለፈቃድ አስጎብኚነት ማዕረግ መጠቀም ነው። ስለዚህ ልጅቷ ምንም ህግ አልጣሰችም፣ ችግሩ ያለው «ላይሰንስ ያለው» ብሎ የሸጠልኝ ሰውዬ ጋ ነው። ፈተናውን ያለፉት ፎቶ ያለው ካርድ አላቸው፣ ከመክፈላችሁ በፊት የሚመጣው ሰው ካርዱ አለው ወይ ብላችሁ በጽሁፍ ጠይቁ፣ መልሱን ስክሪንሾት አድርጉት።

ፉሺሚ ኢናሪ የደረስነው 5 ሰዓት ላይ ነው። ቦታው በእውነት ያምራል፣ እሱን አልክድም። ተራራው ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ቀይ ብርቱካናማ በሮች ተደርድረው እንደ ዋሻ ሆነዋል፣ እነሱ ቶሪ ይሏቸዋል፣ ቶሪ ያለበት ሽራይን ነው ማለትም የሺንቶ ነው፣ ቴምፕል የሚሉት ደግሞ የቡድሃ ነው። ይህቺን እንኳን የነገረችን ጋይዷ ሳትሆን ኋላችን የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ነው። መግቢያው ላይ የድንጋይ ቀበሮዎች አሉ፣ ቀይ ጨርቅ አንገታቸው ላይ እንደ ህጻን ታስሮላቸው አንዱ ቁልፍ በአፉ ይዟል፣ ኢናሪ የሩዝ አምላክ ስለሆነ ቀበሮዎቹ መልዕክተኞቹ ናቸው፣ ቁልፉም የጎተራ ነው ይባላል። እማዬ ቆማ ስታያቸው ቆየችና «እኛ የቀበሮ ባህታዊ ስንል ለተረት ነው፣ እነዚህ በድንጋይ ቀርጸው አስቀመጡት» አለች። ቀኑን ሙሉ ይህቺ ንግግር ከጆሮዬ አልጠፋችም።

በሮቹ ላይ በጥቁር የተጻፈ ጽሁፍ አለ፣ ከኋላቸው ሆናችሁ ስታዩ ነው የሚታየው። ጋይዷ በማይኩ ጥንታዊ ጸሎት ነው አለችን፣ ሰውም ዋው እያለ ፎቶ ያነሳል። ባለቤቴ ስልኩን አውጥቶ በካሜራ ሲያስተረጉመው የድርጅት ስም፣ የባለቤቱ ስም እና የተሰራበት ቀን ሆኖ ተገኘ! ለካ ስለት ነው፣ ነጋዴዎች ስራችን ይቅናልን ብለው ወይ ተሳክቶላቸው የሚያቆሟቸው በሮች ናቸው። የኛ ቤተ ክርስቲያን ስዕል ስር «ያሰሩት እገሌና ባለቤታቸው እገሊት» ተብሎ የሚጻፈው አይነት ማለት ነው። እንዲህ ብላ ብትነግረን እኮ ከጸሎቱም በላይ ደስ ይለን ነበር።

እዚህ ጋ 35 ደቂቃ ብቻ ነው የተሰጠን፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው እየሄድን የምንመለስበትንም ጨምሮ። እማዬ በጉልበቷ የመጀመሪያዎቹን በሮች ነክታ ተመለሰች። ወደ አውቶቡሱ ስንገባ ጋይዷ ጎሹዪን የሚሉትን ወረቀት አመጣች፣ ቀይ ማህተም ያለበትና ላዩ ላይ በብሩሽ የተጻፈበት ሲሆን እዛ ቦታ ለመሄድህ ምስክር ነው። እኛ ለመታሰቢያ ብለን ነው፣ ሃይማኖት ውስጥ አታስገቡብኝ። በሰው 2,000 የን አለችን፣ ተጣድፈናል፣ አንድ ገዛን። ይቺን ወረቀት ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ምሳ ከዕቃ መሸጫ ፎቅ ላይ ነው፣ 7 ሰዓት ከሩብ። የቴምፕል የጾም ምግብ ያሉት እውነተኛ ነገር ነው፣ ሾጂን ርዮሪ ይባላል፣ የቡድሃ መነኮሳት ምግብ ነው፣ ስጋ ዓሳ የለበትም፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንኳን አይገባበትም። ለኛ የቀረበው ግን በካርቶን የታሸገ ቤንቶ ነው፣ ክዳኑን ስከፍተው ጥብስ ዓሳና የተጠቀለለ እንቁላል ከላይ ተጋድሟል። ለእማዬ ይቀየርላት ስንል ዓሳውን በቾፕስቲክ አንስተው መለሱልን፣ ጾም ነው ብለው! ደግሞ ልብ በሉ፣ ጃፓን ውስጥ አትክልት የመሰለው ሾርባና ወጥ አብዛኛው ዳሺ በሚሉት የዓሳ መረቅ ነው የሚሰራው፣ ስለዚህ ስጋ የለውም ስላሏችሁ ብቻ ጾም እንዳይመስላችሁ፣ በሁዳዴ ዓሳ የማትበሉ «ዳሺ አለው ወይ» ብላችሁ በስሙ ጠይቁ። እናቴ ነጭ ሩዝ በላች። ከቦርሳዋ ቆሎ አወጣች፣ ለኛም ዘገነችልን፣ ከቀኑ ምግብ ሁሉ እሱ ይሻል ነበር።

ከዛ ኪንካኩጂ፣ ወርቃማው ቤት። 25 ደቂቃ። «መግቢያ የተከፈለ» ብለው ሲያበቁ በሩ ላይ በሰው 500 የን አዋጡ ተባልን። ቤቱን ከኩሬው ማዶ ነው የምታዩት፣ ውስጡ አይገባም፣ ይሄንንም ማንም ቀድሞ አልነገረንም። የሚገርመው የዛ ቤት ታሪክ ነው፣ በ1950 አንድ ወጣት መነኩሴ አቃጥሎት በ1955 እንደገና የተሰራ ነው፣ ይሄን ያነበብኩት መርከብ ተመልሼ ነው፣ በ25 ደቂቃው ውስጥ የሰማሁት «ቶሎ ቶሎ» ብቻ ነበር።

ኪዮሚዙደራስ? መንገዱ ተጨናንቋል ተባለና አውቶቡሱ ከታች ሲያልፍ ልጅቷ በጣቷ ወደ ላይ ጠቁማ «እዛ ጋ ነው» አለች። እኔ ያየሁት የመኪና ማቆሚያና አንድ የአይስክሬም ማስታወቂያ ነው። ለኪዮሚዙ ጊዜ አጣን ያሉ ሰዎች ግን ለቢላዋና ለማቻ (የአረንጓዴ ሻይ ዱቄት) ሱቅ 50 ደቂቃ አገኙ! በሩ ላይ ልጅቷ የቡድኑን ቁጥር ስታስመዘግብ አየሁ፣ ኮሚሽን መሆኑን ለማወቅ መርካቶ ያደገ ሰው አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

ወደ ኮቤ ስንመለስ መንገዱ ዝግ። መርከቡ ላይ ግቡ የተባልነው እስከ 11 ሰዓት ከ30 ነው፣ ወደቡ በር ላይ የደረስነው 11 ከ20። እማዬን ባለቤቴ በአንድ ክንድ እኔ በሌላ ክንድ ይዘናት ነው የሮጥነው፣ ዳዊቷን እየደገመች። ሰዎች፣ ይሄን በደንብ ያዙት፣ መርከቡ የሚጠብቀው በራሱ በኩል የተሸጠ ቱር ላይ ያለን ሰው ነው፣ በውጭ የገዛችሁት ከዘገየ መርከቡ ጥሏችሁ ይሄዳል፣ ቀጣዩ ወደብ ድረስ በራሳችሁ ወጪ ነው። «ጋራንቲ» የሚለውን በኋላ ከስር ያለውን ደቃቅ ጽሁፍ ሳነበው ትራፊክና የህዝብ ብዛት አይመለከተንም ይላል፣ ፕሮግራሙም ያለ ማስታወቂያ ሊቀየር ይችላል ይላል። ከጠዋት 2 እስከ 11 ከ20 ድረስ 9 ሰዓት ከ20 ደቂቃ፣ ከዛ ውስጥ ሽራይንና ቴምፕል ላይ በእግራችን የቆምነው ድምሩ 1 ሰዓት። ለሶስት ሰው 567 ዶላር።

አሁን የሚያናድደውን ልንገራችሁ። ፉሺሚ ኢናሪ መግቢያው ነጻ ነው፣ 24 ሰዓት ክፍት ነው። ኮቤ ወደብ ተርሚናሉ ጋ ፖርት ላይነር የሚባል ባቡር አለ፣ በሱ ሳኖሚያ ትወርዳላችሁ፣ ከዛ ፈጣኑ የጄአር ባቡር በ50 ደቂቃ ገደማ ኪዮቶ ያደርሳችኋል፣ ከኪዮቶ በናራ መስመር ሁለተኛዋ ጣቢያ ኢናሪ ናት፣ 5 ደቂቃ (ራፒድ የሚሉት አይቆምባትም፣ ሎካሉን ያዙ)፣ ከጣቢያው ስትወጡ በሩ ፊት ለፊታችሁ ነው። ድምሩ አንድ ጉዞ ወደ 1,500 የን ነው፣ 10 ዶላር አካባቢ። በአውቶቡስ ተቀምጠን ከተጨናነቅንበት ይፈጥናል።

ሰው ጋይድ ካማራችሁ ደግሞ በየከተማው የበጎ ፈቃድ አስጎብኚዎች ማህበራት አሉ፣ ጡረተኞችና ተማሪዎች ናቸው፣ ቋንቋቸውን ለመለማመድ ብለው ነው፣ ክፍያ አይጠይቁም፣ የነሱን ትራንስፖርት፣ መግቢያና ምሳ ብቻ ትችላላችሁ፣ ግን ቀደም ብላችሁ ማመልከት አለባችሁ። ይሄ ሁሉ ከበዳችሁ፣ ወይ እንደኔ የሚያማቸው ትልቅ ሰው ይዛችሁ ከሆነ፣ እንደው የመርከቡን ቱር ውሰዱ፣ ውድ ነው ግን ይጠብቃችኋል። እዛም ቢሆን በየቦታው ስንት ደቂቃ እንደሚቆም፣ ስንት ሱቅ እንደሚገባ በጽሁፍ ጠይቁ፣ «እንጎበኛለን» እና «እናያለን» የሚሉት ሁለት የተለያየ ነገር መሆኑን እኔ አውቶቡስ መስኮት ላይ ነው የገባኝ። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትሄዱ ደግሞ ግሪን ካርድ አለን ብላችሁ እንዳትዘናጉ፣ የጃፓን ቪዛ ነገር ትኬት ሳትቆርጡ ጠይቁ።

ዮኮሃማ ስንመለስ በራሳችን ባቡር ይዘን ቶኪዮ አሳኩሳ ሄድን፣ ሰንሶጂ የሚባለው ቴምፕል፣ እሱም ነጻ ነው። ግቢው መሃል ትልቅ የእጣን ማጨሻ አለ፣ ሰዉ ጭሱን በእጁ እየሳበ የሚያመው ቦታ ላይ ያደርጋል። እማዬ ሽታው እንደ ቤቷ ሆነባት መሰለኝ ፈገግ አለች፣ አንዲት ጃፓናዊት አሮጊት ጉልበቷን አይታ ጭሱን ወደሷ ስትገፋላት ደግሞ «እግዜር ይስጥልኝ እህቴ፣ ጉልበቴን ግን ለማርያም ሰጥቻታለሁ» አለቻት በአማርኛ። ሁለቱም ተሳሳቁ።

ጎሹዪን እዛም አለ፣ ማህተም የሚመታበትን ደብተር ገዝቼ ተሰለፍኩ፣ ሰውዬው ፊቴ በብሩሽ ጻፈልኝ፣ 500 የን። ቀኑንም ጻፈበት። ያኔ ነው ያቺ የ2,000 የኗ ወረቀት ትዝ ያለችኝ፣ አወጣሁና ባለቤቴ በስልኩ አስተረጎማት። ጃፓኖች እንደኛው የራሳቸው አቆጣጠር አላቸው፣ ለኛ 2017፣ ለፈረንጅ 2025 የሆነው ለነሱ ሬይዋ 7 ነው። ወረቀቷ ላይ ያለው ሬይዋ 7፣ ፌብሯሪ 11 ነው። እኛ እዛ ቦታ የቆምነው ኤፕሪል ላይ ነው! ቀድመው በጅምላ የገዙትን ነው የቸበቸቡልን።

ድርጅቱ ስጽፍለት ለቀጣይ ቱር የ15 ፐርሰንት ቅናሽ ሰጠኝ፣ ቀጣይ ቱር! እኔም በክሬዲት ካርድ ስለከፈልኩ ባንኬ ጋ ዲስፒውት ከፈትኩ። አሜሪካ ያላችሁ፣ ክፍያው የወጣበት ስቴትመንት ከተላከላችሁ በ60 ቀን ውስጥ በጽሁፍ ማሳወቅ አለባችሁ፣ እንዳታሳልፉት፣ በዜል ወይ በባንክ ትራንስፈር ክፈሉ የሚላችሁ ካለ ደግሞ እዛው ተዉት፣ ማስመለሻው መከራ ነው። የድርጅቱን ስም እዚህ የማልጽፈው ጉዳዩ ገና ስላላለቀ ነው። «ቢበዛ 8 ሰው» የሚለውን ስክሪንሾት፣ ባለቤቴ ከኋላ ወንበር ሆኖ ያነሳውን የሙሉ አውቶቡስ ፎቶ እና ያቺን ወረቀት ልኬያለሁ። ትናንት ከባንኩ ደውለው የወረቀቷን ትርጉም ላኪልን አሉኝ፣ ጃፓንኛ የሚችል ሰው እየፈለግኩ ነው፣ የምታውቁት ካለ ጠቁሙኝ።