የጀጎል ሞዴል፦ ግንቡ የአሚር ኑር፣ ጣሪያው የቆርቆሮ

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የምንመላለስ ሰዎች ጀጎልን፣ በግንብ የታጠረችውን አሮጌዋን ሐረር፣ የምናውቃት በእግራችን ነው። ሚኒባሱ የደንገጎን ዳገት ጨርሶ፣ ሐረማያንና አወዳይን አልፎ ሲያደርሰን በሐረር በር እንገባለን፤ ከፈረስ መጋላ በመኪና ግርግር ቁልቁል ወርደን መሐል ገበያው ግድር መጋላ እንደርሳለን። ከዚያ ወዲያ ያለው በሁለት የድንጋይ አጥሮች መካከል መጥፋትና ያገኙትን ልጅ ጠይቆ መውጣት ነው። ስለዚህ ከግንቡ ውጭ ባለ አንድ የኪራይ አዳራሽ የጥንቷ ሐረር ሞዴል ለሕዝብ መታየት መጀመሩን በሰማሁ ጊዜ፣ እግሬ ለዓመታት የለመደውን ከተማ ዓይኔ ከላይ ሲያየው ይለየው እንደሆነ ለማወቅ ባለፈው ቅዳሜ የእህቴን ልጅ አስከትዬ ወጣሁ።

ሞዴሉ የተሠራው በ1 ለ200 ልኬት ነው። በግንቡ የታጠረው መሬት 48 ሄክታር ስለሆነ በዚህ ልኬት ከተማዋ 12 ካሬ ሜትር፣ ማለትም የአንድ መኝታ ቤት ወለል ታህላለች፤ 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው የግንቡ ዙሪያ ወደ 17 ሜትር ተኩል ይወርዳል፤ ሰው ደግሞ የገብስ ፍሬ ያህል ቁመት ይኖረዋል። በእርግጥም ሠሪዎቹ በግድር መጋላ አደባባይ ላይ የበተኗቸው ገበያተኞች ከገብስ ፍሬ አይበልጡም፤ ሆኖም ቀረብ ብሎ ላያቸው ሰው አንዳንዶቹ በራሳቸው ላይ የተሸከሙት ቅርጫት ሳይቀር ይታያል። ጎብኚው ዙሪያውን መዞር ይችላል፤ በስተኋላ በኩል ደግሞ አጭር የእንጨት ማማ ስላለ ከላዩ ላይ ቆሞ ከተማዋን በአንድ ዓይን መቃኘት ይቻላል።

ከማማው ላይ የታየኝ ነገር ብቻውን የመግቢያውን ክፍያ የሚያካክስ ነው። ከአምስቱ ጥንታዊ በሮች፣ ማለትም ከፈላና፣ ከኤረር፣ ከሰንጋ፣ ከቡዳና ከሸዋ በር የሚነሱት ዋና ዋና መንገዶች እየተጣመሙም ቢሆን ወደ መሐል ሲሰበሰቡ፣ ቀጫጭኖቹ መተላለፊያዎች ግን ከአንዱ መንገድ ወደ ሌላው ለማሻገር ሳይሆን ሰውን ወደ ግቢው ለማድረስ ብቻ የተሠሩ እንደሆኑ ግልጽ ይሆናል። ብዙ ቤቶች አንድ ግቢ ተጋርተው ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጥተዋል። ለካስ እኔ በእነዚያ መንገዶች ስጠፋ የኖርኩት፣ መተላለፊያ የመሰለኝ ሁሉ የሰው ደጃፍ ስለነበረ ነው። ከመተላለፊያዎቹ ሁሉ ጠባቡ የሆነው መገረ ወገር ኡጋ በሞዴሉ ላይ የእርሳስ ውፍረት እንኳ የለውም፤ የተጣሉ ሰዎች ሳይነካኩ አያልፉበትም የሚባለውን ማመን የሚቻለው እዚህ ላይ ሲያዩት ነው።

የእጅ ሥራውን በተመለከተ ሁለት ነገሮችን ለይቼ አመሰግናለሁ። አንደኛው በግንቡ ሥር እዚህም እዚያም የተበሱት ቀዳዳዎች ናቸው። የሰፌድ ወስፌ ጫፍ የበሳቸው የሚመስሉት እነዚህ ቀዳዳዎች ሐረሪዎች ወረባ ኑዱል የሚሏቸው፣ ጅብ ሌሊት የሚገባባቸውና የዝናብ ውኃም የሚወጣባቸው ክፍተቶች ናቸው። አስጎብኚዋ ወጣት አላነሳቻቸውም፤ ስጠይቃት ግን ፈገግ ብላ «ጋሼ፣ ብዙ ሰው ምስጥ የበላው ይመስለዋል» አለችኝ። ሁለተኛው በአዳራሹ ጥግ ለብቻው የቀረበው፣ ግማሽ ጎኑ ተከፍቶ ውስጡ የሚታየው የሐረሪ ቤት ነው። ከፍና ዝቅ ብለው የተደረደሩት አምስቱ ነደባዎች (የመቀመጫ መደቦች) በቀይ አፈር ተቀብተዋል፤ የቤቱ አባወራ የሚቀመጥበት አሚር ነደባ፣ ሙሽራዋ የምትቆይበት ጠባብ ክፍል፣ በግድግዳው ውስጥ የተቦረቦሩት የዕቃ ማስቀመጫዎች፣ ከጥፍር የማይበልጡት የግድግዳ ሰፌዶች ሁሉም አሉ። ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ሳይቀር ተሰቅሏል። አንዲት ነጠላ ያጣፉ ሐረሪ እናት ይህን ባዩ ጊዜ «እዚህ ቤት ያልተዳረች ልጅ አለች ማለት ነው» ብለው ለእህቴ ልጅ አስረዱትና፣ ልጁ አፍሮ ወደ መስጊዶቹ ቆጠራ ሸሸ።

መስጊዶቹን ለመቁጠር የተነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። የመግቢያው ጽሑፍ በዩኔስኮ መዝገብ የተጠቀሱት 82 መስጊዶችና 102 አዋቾች (የቅዱሳን መቃብሮችና መዘከሪያዎች) በሙሉ እንዳሉ ይናገራል። ልጁ ሃምሳ ሰባተኛው ላይ ሲደርስ መብራት ጠፋ፤ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ድረስም ከየት እንደጀመረ ረሳው። ስለዚህ በቁጥሩ ላይ ምስክርነት መስጠት አልችልም።

ዋናው ቅሬታዬ ግን ዘመንን የሚመለከት ነው። በትልቁ ሰሌዳ ላይ «ሐረር በ16ኛው መቶ ዘመን» ተብሎ ተጽፏል፤ ይህም የከተማዋ ገዥ የአሚር ኑር ዘመን፣ ግንቡ የታነጸበት ጊዜ ነው። ሞዴሉን ስንመለከት ግን በምዕራብ በኩል ስድስተኛው በር፣ ማለትም ለመኪና መግቢያ ተብሎ በ20ኛው መቶ ዘመን የተከፈተው ሐረር በር ወለል ብሎ ይታያል። በፈረስ መጋላ አጠገብ አፄ ምኒልክ ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1887 ከተማዋን ከያዙ ወዲህ የተሠራው የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ቆሟል። ባለቀለም መስኮቱ የራምቦ ቤትም አለ፤ ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ሐረር የገባው እ.ኤ.አ. በ1880 መሆኑ ሲታወቅ፣ ቤቱን የሠራውም እርሱ ሳይሆን አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ እንደሆነ ይነገራል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ በእንጨት ረብራብ ላይ አፈር ተደልድሎባቸው ጠፍጣፋ መሆን የሚገባቸው ጣሪያዎች በብዛት የቆርቆሮ መሆናቸው ነው። ጎብኚው የሚያየው የዛሬዋን ጀጎል ሆኖ ሳለ የአምስት መቶ ዓመት ዕድሜ ተለጥፎባታል።

የከተማ ሞዴል ሲሠራ ቀዳሚው ሥራ ዘመን መምረጥ ነው። ኢታሎ ጂስሞንዲ የተባለው ጣሊያናዊ አርክቴክት የሠራው የሮም ሞዴል በ1 ለ250 ልኬት የቆስጠንጢኖስን ዘመን ከተማ ብቻ ያሳያል። (ሞዴሉ እ.ኤ.አ. በ1937 በሮም ለሕዝብ ሲታይ ሐረር ራሷ በጣሊያን እጅ ነበረች።) ብዙ የአገራችን ተሳላሚዎች በሚሄዱባት ኢየሩሳሌም ያለው፣ በ1 ለ50 ልኬት የተሠራው ሰፊ ሞዴልም እንዲሁ እ.ኤ.አ. በ70 ቤተ መቅደሱ ከመፍረሱ በፊት የነበረችውን ከተማ መርጦ ያሳያል። ዘመኑ ስለተወሰነ አዲስ ቁፋሮ አዲስ ነገር ባሳየ ጊዜ ሞዴሉን ማረም ተችሏል። ዘመኑ ያልተወሰነ ሞዴል ግን ትክክል ነው ወይም ስሕተት ነው ለማለት እንኳ አያመችም።

ሠሪዎቹ ምክር ቢቀበሉ 16ኛውን መቶ ዘመን ትተው እ.ኤ.አ. የ1880ዎቹን ሐረር ቢሠሩ እመርጥ ነበር። ከዚያ በፊት እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1855 ገብቶ ያየውን ጽፏል፤ የግብጽ ጦር ከ1875 እስከ 1885 ድረስ ከተማዋን ይዟት ቆይቷል፤ ራምቦም በ1883 በሐረር ፎቶግራፍ አንስቷል። የሚያመሳክሩበት ነገር አላቸው ማለት ነው። ያን ካደረጉ የሚነሱት ስድስተኛው በር፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ባለቀለም መስኮቱ ቤትና ቆርቆሮው ብቻ ናቸው፤ የቀረው ትጋት ሁሉ በቦታው ይቆያል።

የመስተንግዶውን ነገር ባጭሩ ለመናገር፣ ክፍያው ከድሬዳዋ የሚያመጣን ሚኒባስ ከሚጠይቀው ያነሰ ነው፤ አስጎብኚዋ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሐረሪ እየቀያየረች ታስረዳለች፤ የበሮቹ ስምም በሐረሪና በአማርኛ ተጽፏል። መቀመጫ ግን የለም። አረጋውያን ጎብኚዎች የሞዴሉን ጠርዝ ሲደገፉ ዘበኛው የሚያሰማው ቁጣ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር ቢኖር ኖሮ ጨርሶ የማያስፈልግ ነበር። ጠዋት መሄድ ይሻላል፤ ከሰዓት በኋላ ከምዕራቡ መስኮት የሚገባው ፀሐይ የከተማዋን ግማሽ ያነጸባርቅና ምንም አያሳይም።

ከአዳራሹ ወጥተን በሞዴሉ ላይ በጣታችን የተከተልነውን መንገድ በእግራችን ለመድገም ከግድር መጋላ ወደ ኤረር በር አመራን። መታጠፊያዎቹን ሁሉ ሳንጠይቅ አገኘናቸው፤ ይህ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። በሩ አጠገብ ስንደርስ የእህቴ ልጅ ቆም ብሎ የመጣንበትን ዳገት ወደ ኋላ ተመለከተና «ጋሼ፣ ይሄ ቁልቁለት እዚያ የለም እኮ፤ እዚያ ሁሉም ሜዳ ነው» አለኝ። እኔ ከማማው ላይ ቆሜ ያላስተዋልኩት ነገር ነበር። ከተማዋ በጠፍጣፋ ጣውላ ላይ ተሠርታለች፤ በወስፌ የተበሱት እነዚያ የሚያማምሩ ቀዳዳዎችም የሚያፈሱት ውኃ ከየትም አይመጣላቸውም።