ለኮራል ገንዳ የገዛሁት ባለ አራት እርከን የውሃ ማጣሪያ፦ ከ14 ወር አገልግሎት በኋላ

ቨርጂኒያ፣ አርሊንግተን በሚገኘው ቤቴ ሳሎን ውስጥ 40 ጋሎን፣ ማለትም ወደ 150 ሊትር ገደማ የሚይዝ የጨው ውሃ ገንዳ አለኝ። ሁለት ክሎውንፊሽ፣ ጥቂት ቀንድ አውጣዎችና ከአሥር የማይበልጡ ኮራሎች ይኖሩበታል። ይህ ግምገማ ግን ስለ ገንዳው ሳይሆን፣ ምድር ቤት ከልብስ ማጠቢያ ማሽኑ አጠገብ ግድግዳ ላይ ስለተሰቀለ፣ እንግዳ ሁሉ ሳያየው ስለሚያልፈው ዕቃ ነው። ዕቃው የቧንቧ ውሃን በደለል ማጣሪያ፣ በከሰል፣ በሪቨርስ ኦስሞሲስ ሜምብሬን (ውሃን አሳልፎ የሟሟውን ነገር በሚያስቀር ስስ ገለፈት) እና በመጨረሻ የተረፈውን በሚይዝ ሬዚን የሚያሳልፍ፣ በቀን 75 ጋሎን እንደሚያመርት የተጻፈበት ባለ አራት እርከን ማጣሪያ ሲሆን የገዛሁት በ170 ዶላር ነው። የአምራቹን ስም አልጠቅስም፤ በተለያየ ስም የሚሸጡት አብዛኞቹ ተመሳሳይ ባለ 10 ኢንች ማቀፊያ የሚጠቀሙ፣ የአንዱ ማጣሪያ ለሌላው የሚገጥም በመሆናቸው የምለው ነገር ለዓይነቱ በሙሉ ይሠራል።

የገዛሁት ዘግይቼ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሰባት ወራት የቧንቧ ውሃ በባልዲ እየቀዳሁ፣ ክሎሪን ያጠፋል የተባለ ጠብታ እየጨመርሁ እጠቀም ነበር። በሁለተኛው ወር አሸዋው የቡና ዱቄት የተነሰነሰበት መሰለ፤ በአራተኛው ወር ድንጋዩ እንደ ፀጉር የሚረዝም አረንጓዴ አልጌ አበቀለ፤ በስድስተኛው ወር አልጌው ኮራሎቹን ከግርጌያቸው እያነቀ መጣ። ዓሣ ከምገዛበት ሱቅ በሄድሁ ቁጥር ሻጩ ሌላ ጠርሙስ ይሰጠኛል፤ እኔም እወስዳለሁ። የመብራቱን ሰዓት ቀነስሁ፣ ምግብ ቀነስሁ፣ አልጌውን በጥርስ ብሩሽ ፈገፈግሁ። የባከነውን የጠርሙስ ገንዘብ ስደምረው ማጣሪያውን ገዝቶ ለራት ግብዣ የሚተርፍ ሆኖ አገኘሁት።

ነገሩ የተገለጠልኝ አንድ ምሽት የፎስፌት መለኪያውን በገንዳው ፈንታ በቧንቧው ውሃ ላይ የሞከርሁ ጊዜ ነው። ብልቃጧን ከወጥ ቤቱ ቧንቧ ሞላሁ፣ ጠብታውንና ዱቄቱን ጨመርሁ፣ ነቀነቅሁና በነጭ ወረቀት ላይ አስቀመጥኋት። ሰማያዊው ቀለም አምስት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላው ከቀለም ካርዱ የመጨረሻ እርከን አልፎ ወደ ጥቁርነት ተጠጋ። አንድ እጁን የቧንቧ ውሃ በዘጠኝ እጅ የተጣራ ውሃ አቅጥኜ ደግሜ ስለካ 0.2 አነበበ፤ ስለዚህ ዋናው ውሃ በሊትር 2 ሚሊግራም ያህል ፎስፌት ነበረው። የኮራል ገንዳ የሚፈልገው ከ0.03 እስከ 0.1 ያለውን ነው።

ፎስፌቱ በስህተት የገባ አይደለም። የአርሊንግተን ውሃ ከፖቶማክ ወንዝ ተቀድቶ በዋሽንግተን አኩዌደክት ይጣራል። ይህ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ ላይ ውሃውን ከጀርም የሚከላከልበትን ክሎሪን በክሎራሚን፣ ማለትም ክሎሪንና አሞኒያ ተዋሕደው በሚሰጡት ውሕድ ተካ፤ ለውጡ በአሮጌ የእርሳስ ቧንቧዎች ውስጥ የነበረውን መከላከያ ቅርፊት ስላናጋው በዋሽንግተን ከተማ የመጠጥ ውሃ ውስጥ የእርሳስ መጠን አሻቀበ። መፍትሔ ሆኖ የተገኘውም እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ኦርቶፎስፌት መጨመር ነው፤ የቧንቧውን ውስጥ ለብሶ እርሳሱ እንዳይሟሟ ያደርጋል። ለሰው ጤና የተደረገ ተገቢ ነገር ነው፤ ልጆቼም የሚጠጡት እርሱን ነው። ለአልጌ ግን ማዳበሪያ ነው፤ የክሎሪን ማጥፊያው ጠብታም ፎስፌትን አይነካም።

ከዚህ ላይ ትነት ይታከላል። ከገንዳዬ በየቀኑ ሁለት ሊትር ተኩል ያህል ውሃ ይተንናል፤ የሚተንነው ንጹሕ ውሃ ብቻ ስለሆነ የጎደለውን በቧንቧ ውሃ ስሞላ የነበረው ሁሉ በውስጡ ይቀር ነበር። በወር 75 ሊትር ማለት ነው፤ በሊትር 2 ሚሊግራም ቢታሰብ 150 ሚሊግራም ፎስፌት፣ ማለትም በገንዳው በእያንዳንዱ ሊትር ላይ 1 ሚሊግራም መጨመር ማለት ነው። አልጌውን በአንድ እጄ እየፈገፈግሁ በሌላ እጄ ስቀልበው ኖሬያለሁ።

ወደ ዕቃው ልመለስ። መግጠሙ ለሙያተኛ የአንድ ሰዓት ሥራ ይሆናል፤ እኔ ቅዳሜዬን ጨርሼበታለሁ። መመሪያው ሥዕል ይበዛበታል፣ ማብራሪያ ያንሰዋል። በተለይ ማቀፊያው ከክዳኑ ጋር የሚገናኝበትን ጎሚኒ የሲሊኮን ግሪስ ቀብቶ በቦታው በደንብ ማስቀመጥ እንደሚያስፈልግ አንድም ቃል አይናገርም። ሁለተኛው ማቀፊያ ሌሊቱን ሲያንጠባጥብ አድሮ ጠዋት ምድር ቤቱ ወለል ላይ ኩሬ ጠበቀኝ። ጎሚኒው በአንድ በኩል ከቦዩ ወጥቶ ተጣሞ ነበር፤ አውጥቼ ግሪስ ቀብቼ በእጄ ብቻ ስመልሰው ከዚያ ወዲህ ጠብታ አላየሁም። አብሮት የሚመጣው የፕላስቲክ መፍቻ ለመፍታት እንጂ ለማጥበቅ እንዳልሆነ የተማርሁትም ያኔ ነው።

አሠራሩን በቁጥር ለመግለጽ፣ በውሃ ውስጥ የሟሟውን ነገር የሚገምተው የቲዲኤስ መለኪያ ከቧንቧው ላይ 210፣ ከሜምብሬኑ በኋላ 5፣ ከሬዚኑ በኋላ 0 ያነባል። ይህ እንከን የማይወጣለት ውጤት ነው። ነገር ግን ማሽኑ ጥቂት ቀናት ቆሞ እንደገና ሲከፈት ከሜምብሬኑ በሁለቱም ወገን ያለው ውሃ ተቀላቅሎ ስለሚቆይ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ውሃ ከ5 ይልቅ ወደ 60 የተጠጋ ንባብ ያሳያል፤ ይህ ውሃ በቀጥታ ወደ ሬዚኑ ከገባ ውዱን ሬዚን ያለጊዜው ይጨርሰዋል። ስለዚህ ከሜምብሬኑ በኋላ የቲ ቅርጽ ያለው መገጣጠሚያና ትንሽ ቫልቭ ጨምሬ የመጀመሪያውን አምስት ደቂቃ አስወግደዋለሁ። የ6 ዶላር ጭማሪ ነው፤ ፋብሪካው ቢያስገባው ምን ነበረበት ያሰኛል።

ትልቁ ቅሬታዬ ከሰሉ ላይ ነው። አብሮ የመጣው ተራ የከሰል ማጣሪያ ሲሆን ተራ ክሎሪንን በሚገባ ይይዛል፤ ክሎራሚንን ግን በዝግታ ስለሚሰብረው ፍጥነቱና ዕድሜው አይበቃም። የሸጠልኝ ሱቅ ለየትኛውም የከተማ ውሃ እንደሚሆን አረጋግጦልኝ ነበር። በአምስተኛው ወር ሬዚኑ በሦስት ሳምንት ቀለሙን ለውጦ ሲያልቅ ነገሩ አጠራጠረኝ፤ ከከሰሉ በኋላ ያለውን ውሃ በመዋኛ ገንዳ የክሎሪን መለኪያ ብለካው ባዶ አሳየኝ። ባዶ ያሳየኝ ግን መለኪያው ነፃ ክሎሪንን ብቻ የሚለካ ስለነበረ ነው፤ ክሎራሚን የሚታየው ጠቅላላ ክሎሪን በሚለካው ነው። እርሱን ገዝቼ ስሞክር ብልቃጡ ሮዝ ሆነ። ያመለጠው ክሎራሚን ሜምብሬኑን ቀስ በቀስ ይጎዳል፤ ሲሰበር የሚወጣውን አሞኒያ ሜምብሬኑ በሙሉ ስለማያግደው ሬዚኑ ላይ ይወድቃል፣ ሬዚኑ ሲያልቅ ደግሞ ወደ ገንዳው ይሻገራል። ለክሎራሚን ተብሎ የሚሠራውን ከሰል በ28 ዶላር ቀይሬ ከዚያ ወዲህ ሬዚኑ ከአራት ወር በላይ እያገለገለኝ ነው። በነገራችን ላይ በየዓመቱ በመጋቢትና በሚያዝያ አካባቢ ለጥቂት ሳምንታት የውሃ ተቋሙ ቧንቧዎቹን ለማጽዳት ወደ ተራ ክሎሪን ይመለሳል፤ ያን ጊዜ የቧንቧው ሽታ ይጠነክራል እንጂ ለማጣሪያው ሥራው ይቀልለታል።

ሁለተኛው ቅሬታ የሚባክነው ውሃ ነው። አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ለማግኘት ወደ አራት ሊትር ይወገዳል። እናቴ ባለፈው ዓመት ከአዲስ አበባ መጥታ በነበረ ጊዜ ምድር ቤት ወርዳ ከቀጭኑ ቱቦ ወደ ማጠቢያው ሲወርድ የነበረውን ውሃ ቆማ አየችና፣ «ልጄ፣ ይህ ሁሉ ውሃ የሚደፋው ለሁለት ዓሣ ነው?» አለችኝ። በፈረቃ የሚመጣ ውሃ በሌሊት ተነሥቶ ጀሪካን በመሙላት ላደገ ሰው መልስ የሌለው ጥያቄ ነው። በማግሥቱ ቱቦውን በበርሜል ውስጥ አስገባችው፤ አሁን የልብስ ማጠቢያውና የጓሮው ቃሪያ የሚጠቀሙት ከዚያ በርሜል ነው። በዚህ ጉዳይ ማሽኑን ማሻሻል የምትችለው እርሷ እንጂ ፋብሪካው አልነበረም።

75 ጋሎን የሚለው ቁጥርም ሁኔታ አለው። የተለካው በ25 ዲግሪ ሙቀትና በቂ ግፊት ነው። የእኔ ቤት ግፊት 48 ፒኤስአይ ሲሆን ጥሩ የሚባለው 60 ነው፤ በክረምት ደግሞ ውሃው በረዶ ሊሆን ምንም ያህል አይቀረውም። ስለዚህ በጥር ወር በቀን ከ30 ጋሎን በላይ አግኝቼ አላውቅም። ለ40 ጋሎን ገንዳ ይህ ከበቂ በላይ ነው፤ 200 ጋሎን ያለው ሰው ግን የግፊት ፓምፕ ይጨምርበት።

ከሁሉ በላይ አንባቢ የሚፈልገው ገንዳው ምን ሆነ የሚለውን ይመስለኛል። የቡና ዱቄት የሚመስለው ቡናማ ሽፋን በአንድ ወር ውስጥ ጠፋ፤ ያ ዳያተም የሚባለው ሲሆን በቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለ ሲሊካ የሚቀልበው ነው። አረንጓዴው ፀጉር ግን ሦስት ወር ፈጀ። ንጹሕ ውሃ ገብቶም ፎስፌቱ አልወርድ ሲለኝ ማሽኑ አይሠራም ብዬ ልመልሰው ደርሼ ነበር፤ በኋላ እንደተረዳሁት ድንጋዩ ለሰባት ወራት የጠጣውን ፎስፌት ቀስ እያለ እየመለሰው ነበር። በየሳምንቱ 15 ሊትር ውሃ እየቀየርሁ ጠበቅሁት፤ ጠርሙስ አልገዛሁም።

ማጣሪያው ያልፈታቸው፣ ሊፈታቸውም የማይችላቸው ችግሮች አሉ። ኮራሎቼ ማጣሪያው ከተገጠመ በስድስተኛው ወር ተኮማትረው አልከፈት ሲሉ ውሃው ንጹሕ ነበር፤ ጨዋማነቱ ግን በእኔ ሪፍራክቶሜትር 35 ቢያነብም እውነተኛው 31 ነበር፤ መሣሪያውን በንጹሕ ውሃ ዜሮ ላይ አስተካክየው ስለነበር በ35 አካባቢ ያለው ስህተቱ አልታየኝም። በ35 የተዘጋጀ የማስተካከያ ፈሳሽ ገዝቼ እስካስተካክለው ድረስ በከንቱ ስባዝን ነበር። ሐመር የሚባለው ኮራል ሥጋው ከአጽሙ መሸሽ የጀመረው ደግሞ አልካላይኒቲውን (ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙን) ከ7.6 ወደ 10 ዲኬኤች በሚባለው መለኪያ በሁለት ቀን ስላወጣሁበት ነው፤ 8ም ሆነ 10 ቢሆን ይኖር ነበር፣ ዝላዩን ግን አልቻለም።

አንዱን ችግር እንዲያውም ማጣሪያው ራሱ አግዞ ያመጣው ነው ለማለት እደፍራለሁ። በአዲሱ ንጽሕና ተደስቼ ፎስፌት የሚይዝ ማጣሪያ ጨምሬ ናይትሬትም ፎስፌትም ዜሮ ሲሆኑልኝ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ አረፋ የቋጠረ ቡናማ ንፍጥ ድንጋዩን ሸፈነው። ሌሊት ይሳሳል፣ መብራት ሲበራ ይመለሳል፤ ሦስት ቀንድ አውጣዎች ሞቱ። ዳይኖፍላጀሌት የሚባል ደቂቅ ሕያው ነበር፤ ብዙ ጊዜ የሚነግሠው ተፎካካሪዎቹ በረሃብ ሲደክሙ ነው። መጀመሪያ ዳያተም የተመለሰ መስሎኝ ማጣሪያውን ወቅሼ ሬዚን ቀይሬያለሁ። መለየት የሚቻለው በአረፋውና በንፍጡ መሳብ ነው፤ ዳያተም በጣት ሲነካ እንደ አቧራ ይበተናል፣ ይህኛው ግን ይሳባል። የፎስፌት ማጣሪያውን አውጥቼ፣ ለዓሦቹ ምግብ ጨምሬ፣ ናይትሬቱ 5 ፎስፌቱ 0.05 አካባቢ ሲደርስ በወር ተኩል ለቀቀኝ።

የዓመት ወጪውን ስደምር የደለልና የከሰል ማጣሪያ በየስድስት ወሩ፣ ሬዚን በዓመት ሦስት ጊዜ፣ በጠቅላላው 125 ዶላር ገደማ ነው። ከ20 ጋሎን ያነሰ ገንዳ ያለው ሰው የተጣራ ውሃ በጋሎን እየገዛ ቢጠቀም ይሻለዋል፤ የሚከራይ ሰውም ቧንቧ መብሳት ሳያስፈልገው ለልብስ ማጠቢያ ማሽን ቧንቧ የሚገጥም አስማሚ እንዳለ ይወቅ። ለሌላው ሁሉ ከአምስት ኮከብ አራት እሰጠዋለሁ፤ አንዱን ያስቀረሁት በከሰሉና በመመሪያው ምክንያት ነው። የሚገዛ ሰው በዚያው ትዕዛዝ ላይ ለክሎራሚን የሚሆን ከሰል፣ የጠቅላላ ክሎሪን መለኪያ፣ የግፊት መለኪያና አንድ ቱቦ የሲሊኮን ግሪስ ይጨምር፤ ለመጀመሪያው ሌሊት ደግሞ ከሥሩ ሰፊ ባልዲ ያስቀምጥ።