«1000 ዋት» ቤዝ አምፕ ከመግዛታችሁ በፊት ወፍራሙን ክር ምቱ

ሦስተኛው ዘፈን ላይ የቤዝ ጊታሬ ድምፅ ጠፋ። ድራመሩ ዞር ብሎ እኔን አየ፣ እኔ አምፑን አየሁ። «ፕሮቴክት» የምትለዋ ቀይ መብራት በርታለች። አጥፍቼ አበራሁት። ሁለት ደቂቃ ሠራና እንደገና ዝም አለ። የቀረውን ምሽት ክር እየነካካሁ የምጫወት መስዬ ጨረስኩት። ዕቃውን ከገዛሁት ገና ሳምንቱ ነበር።

የገዛሁት ሄድ (ኃይል የሚሰጠው የአምፑ ሣጥን)፣ ካቢኔት (ስፒከሮቹ ያሉበት ሣጥን) እና ፕሪአምፕ ፔዳል (ድምፁን ሄዱ ጋ ከመድረሱ በፊት የሚያስተካክል ትንሽ ዕቃ)፣ ሦስቱን አንድ ላይ ነው። «ሙሉ ሴት ነው፣ ቤዝህን ብቻ ይዘህ ና» ነበር የተባልኩት። ዋጋው ከአዲሱ ከግማሽ በታች። እዚህ ጋ መጠርጠር ነበረብኝ። ግን ሰው ርካሽ ነገር ሲያይ ጭንቅላቱ እረፍት ይወጣል። የሻጩን ስም አልጽፍም። ዘዴውን ግን አንድ በአንድ እነግራችኋለሁ፤ የእሱ ብቻ ዘዴ አይደለምና።

ስደርስ ሁሉም ነገር ተሰካክቶ፣ በርቶ፣ ሞቆ ጠበቀኝ። ቤዙን ራሱ አነሳ። ጣቱ ጎበዝ ነው፣ አይካድም። በቀጫጭኖቹ ክሮች ላይ ስላፕ እያደረገ (በአውራ ጣት እየመታ) ሲዘልበት ክፍሉ ሞላ። ፔዳሉ ውስጥ ያለችው ቲዩብ (አምፖል የምትመስል ድምፅ ማጉያ) ደግሞ እንደ ፋኖስ ብርቱካናማ ሆና ትበራለች። «ወንድሜ፣ ይሄ ጣሪያ ነው የሚያነቃንቀው» አለኝ። አመንኩት፣ ከፈልኩ፣ ተሸክሜ ወጣሁ። አሁን ሳስበው፣ ያን ቀን የሰማሁትን ሁሉ የመረጠልኝ እሱ ነው። የትኛው ክር፣ ስንት ቮልዩም፣ ለስንት ደቂቃ። እኔ የመረጥኩት ነገር ቢኖር ገንዘቤን የማወጣበትን ኪስ ነው።

ቀጫጭኖቹን ክሮች የመረጠው ስለሚያምሩ ብቻ አልነበረም። ቀጭኑ የጂ ክር ሳይያዝ ሲመታ 98 ኸርዝ ነው፣ ማለትም በሴኮንድ 98 ጊዜ ይርገበገባል። ወፍራሙ ኢ ግን 41 ኸርዝ ገደማ ላይ ነው። ባለ አምስት ክር ቤዝ ከሆነ ቢ ወደ 31 ይወርዳል። ላይ ላይ በዝቅተኛ ቮልዩም ብትጫወቱ የታመመ ስፒከርም ጤነኛ ይመስላል። ሕመሙ የሚታወቀው ታች ነው፤ ኮኑ (የሚርገበገበው የስፒከሩ ፊት) ብዙ አየር ለመግፋት ወደፊትና ወደኋላ ርቆ ሲሄድ። ዙሪያው የተቀደደ ከሆነ፣ ኮይሉ (ኮኑን የሚያንቀሳቅሰው የሽቦ ጥቅል) የተቃጠለ ከሆነ፣ ካቢኔቱ ውስጥ የላላ ብሎን ካለ፣ ሁሉም የሚያወራው እዚያ ነው።

ስለዚህ ቤዛችሁን ራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ወፍራሙን ክር ሳትይዙ ምቱትና ድምፁ ቀስ እያለ እስኪጠፋ ጠብቁ። እየጠፋ ሲሄድ ከሥሩ «ክርር» የሚል ነገር ከሰማችሁ ኮይሉ ከማግኔቱ ጋር እየታከከ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ከክፍት ኢ ጀምራችሁ በየፍሬቱ (አንገቱ ላይ ባሉት የብረት መስመሮች) አንድ አንድ እያላችሁ ውጡ። አንዳንድ ጉድለት አንድ ኖታ ላይ ብቻ ነው ብቅ የሚለው። ከዚያም ቮልዩሙን መድረክ ላይ ወደምትጫወቱበት ከፍ አድርጉና አሥራ አምስት ደቂቃ ተጫወቱ። ሻጩ «ጎረቤት ይረበሻል» ካለ ሌላ ቦታ ወይም ሌላ ሰዓት ጠይቁት። የእኔው አምፕ እቤት ውስጥ በዝቅተኛ ድምፅ ዓመት ሊሠራ ይችል ነበር። የታመመው መድረክ ላይ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ከመድረሳችሁ በፊት እንዳያበራው ንገሩት። ቀዝቃዛ አምፕ ሲበራ ብዙ ይናገራል። የሚያጓራ ካለ ያጓራል፣ የሚንኮሻኮሽ ቁልፍ ካለ ይንኮሻኮሻል። ሞቆ የጠበቃችሁ ዕቃ ተኳኩሎ እንደጠበቃችሁ ዕቃ ነው።

ወደ ራሴ ጉድ ልመለስ። ሄዱንና ካቢኔቱን ለቴክኒሻን ወሰድኩ። ሰውየው ሄዱን ሳይነካው ቴስተር አወጣና ከካቢኔቱ ጃክ ላይ ለካ። ጀርባው ላይ «4 ኦም» ተብሎ ተጽፏል (ኦም ስፒከሩ ከረንትን የሚቋቋምበት መጠን ነው፤ ባነሰ ቁጥር አምፑ ላይ ጭነቱ ይከብዳል)። ቴስተሩ 2 ገደማ አነበበ። «ይሄን ማን ነካካው?» አለኝ። እኔ ምን አውቃለሁ! የፊቱን መረብ ሲፈታው ካሉት ሁለት ባለ 10 ኢንች ስፒከሮች አንዱ የመኪና ውፈር (ለመኪና የተሠራ የወፍራም ድምፅ ስፒከር) ሆኖ ተገኘ። ጥቁር፣ ቆንጆ፣ ልክ ቀዳዳው ላይ የተገጠመ። በመረቡ በኩል ቢታይ ማንም አይለየውም።

ይሄ ለምን አምፑን እንደሚያጠፋ ቴክኒሻኑ ወረቀት ላይ አስረዳኝ። ዋጋ ያለው ትምህርት ስለሆነ አልዘለውም። መጀመሪያ ሁለቱም ስፒከሮች ባለ 8 ኦም ነበሩ። በትይዩ ሲታሰሩ ሁለት ስምንት 4 ይሆናል፤ ሄዱም ከ4 በታች አይችልም። የመኪናው ውፈር ግን ባለ 4 ኦም ነው። ስምንትና አራት በትይዩ 2.7 አካባቢ ይሰጣል። ይሄ ለሄዱ ከአቅሙ በላይ ጭነት ነው። ቮልዩሙ ከፍ ሲል ከሚችለው በላይ ከረንት ይጎትቱበታል፣ ይሞቃል፣ ራሱን ለማዳን ይዘጋል። ቀይ መብራቷ እያዳነችኝ ነበር፣ እኔ እሷን እየረገምኩ።

የሚያስቀው ቀጥሎ ያለው ነው። በትይዩ ሲታሰሩ ባለ 4 ኦሙ ከባለ 8ቱ እጥፍ ኃይል ይወስዳል። የመኪና ውፈር ደግሞ በተፈጥሮው ሰነፍ ነው፤ ለአንድ ዋት የሚያወጣው ድምፅ ለቤዝ ጊታር ከተሠራ ስፒከር በጣም ያንሳል። እንግዲህ ሁለት ሦስተኛውን ኃይል የሚበላው እሱ፣ ድምፅ የማያወጣው እሱ። እንዲህ ያለ ሰው በየባንዱ አይጠፋም።

ቴስተር ርካሽ ነው፣ ኪስ ውስጥ ይገባል። ካቢኔት ስትገዙ ይዛችሁት ሂዱ። ጤነኛ ባለ 8 ኦም ካቢኔት ቴስተር ላይ 6 አካባቢ ያነባል፣ ባለ 4 ኦሙ ደግሞ 3 ወይም ትንሽ ከፍ ያለ። ከተጻፈው ዝቅ ብሎ ማንበቡ የተለመደ ነው፣ አትደንግጡ። ከዚያ በእጅጉ ከወረደ ግን የፊቱ መረብ እንዲፈታ ጠይቁ። ምንም ካላነበበ አንድ ነገር ተበጥሷል። ሻጩ መረቡን አልፈታም ካለ ደግሞ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።

ዋቱን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚናደደው እዚህ ላይ ነው፣ እኔ ግን ብዙም አልተናደድኩም። ሄዱ ፊት ላይ 1000 የሚል ቁጥር በትልቁ ተጽፏል። ጀርባው ላይ በጉንዳን ፊደል «ፒክ» (ለቅጽበት ብቻ የሚደርስበት ጣሪያ) ይላል። ትክክለኛው፣ ማለትም ያለማቋረጥ የሚሰጠው፣ 500 ነው፤ ያውም 4 ኦም ላይ። 8 ኦም ካቢኔት ብትሰኩበት ወደ ግማሹ ይወርዳል። ውሸት ነው ወይ? የሽያጭ ቋንቋ ነው እንበል። ግን ኃይል በግማሽ ሲቀንስ ድምፅ የሚቀንሰው 3 ዲሲቤል ብቻ ነው። ጆሮ ልዩነቱን ያውቀዋል እንጂ አይደነግጥበትም። ድምፁ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማችሁ ከፈለጋችሁ አሥር እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1969 አምፔግ የተባለው ኩባንያ ኤስቪቲ የተባለውን ቤዝ አምፕ ሲያወጣ 300 ዋት ነበር። ስምንት ባለ 10 ኢንች ስፒከር ካለው ካቢኔት ጋር ሮሊንግ ስቶንስ ለዚያ ዓመት ጉዟቸው ትልልቅ መድረክ ላይ ይዘውት ወጥተዋል። ቲዩቡና ትራንስፎርመሩ ሄዱን ብቻ 38 ኪሎ ገደማ ስላደረጉት የተሸካሚው ወገብ ግን አልተጠየቀም። ዋት ከምትቆጥሩ ስፒከር ቁጠሩ፣ ጤንነታቸውንም እዩ።

ገመዱንም ልንገራችሁ። ሻጩ ሄዱን ከካቢኔቱ ያገናኘው በተራ የጊታር ገመድ ነበር። ጫፉ አንድ ዓይነት ስለሆነ ይገባል። ውስጡ ግን ቀጭን ሽቦና መከላከያ መረብ ነው። ያን ሁሉ ከረንት ለመሸከም አልተሠራም፤ ይሞቃል፣ ሲብስ አምፑንም ይዞ ይሄዳል። ለስፒከር ወፋፍራም ሁለት ሽቦ ያለው የስፒከር ገመድ ነው የሚያስፈልገው። ሻጭ ይሄን ካላወቀ ዕቃውን እንዴት ሲይዘው እንደነበር ገምቱ።

አሁን ወደ ፋኖሷ። «ባለ ቲዩብ ፕሪአምፕ» የተባለው ፔዳል ከ9 ቮልት አዳፕተር ነው የሚሠራው። 12ኤኤክስ7 የምትባለው ቲዩብ በደንብ የምትሠራው ከመቶ ቮልት በላይ ስታገኝ ነው። አንዳንድ ፔዳሎች ውስጣቸው ቮልቴጁን ከፍ የሚያደርግ ሰርኪዩት አላቸው፣ እነሱ ሌላ ናቸው። በዝቅተኛ ቮልት የምትሠራም አለች፣ የራሷ ቀለም አላት፣ የሚወዳት ይወዳታል። የእኔዋ ግን ከሥሯ ብርቱካናማ ኤልኢዲ ተለጥፎላታል። ያ ሁሉ ሙቀት የመሰለኝ ነገር የኤልኢዲ ብርሃን ነው። ቴክኒሻኑ ከሶኬቷ ነቅሎ አወጣትና «ተጫወት» አለኝ። ተጫወትኩ። ድምፁ እንዳለ ነው። መልሶ ሰካት። አሁንም ያው። ሁለታችንም ትንሽ ዝም አልን፣ ከዚያ እሱ ሳቀ። እኔ ለመሳቅ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። በነገራችን ላይ ይሄን ራሳችሁ በትልቅ የቲዩብ አምፕ ላይ እንዳትሞክሩት፤ ከመብራት ተነቅሎም ውስጡ ገዳይ ቮልቴጅ ሊቆይ ይችላል።

አዳፕተር ላይ አልረዝምም። አብዛኛው ፔዳል 9 ቮልት ዲሲ፣ መሃሉ ኔጌቲቭ ነው። አንዳንዱ 18፣ አንዳንዱ ኤሲ ይፈልጋል፤ መሰኪያው ግን አንድ ዓይነት ነው። ፔዳሉ ላይ የተጻፈውንና አዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን አስተያዩ። ከረንቱንም እንዲሁ፦ ዲጂታል ፔዳል 200 ወይም 300 ሚሊአምፕ ሊጠይቅ ይችላል፣ አነስተኛ አዳፕተር ላይ ሲያደርጉት ያፏጫል ወይም ያብዳል። ትልቁ አምፕ ላይ ደግሞ የመብራቱን ቮልት አንብቡ። 120 ብቻ የሚል ሄድ 220 ላይ ከሰካችሁ ፊውዙ ብቻ ከሄደ ዕድለኛ ናችሁ። «ክብደቱ ቀላል ስለሆነ የትም አገር ይሠራል» የሚል ሻጭ አለ። ቀላል መሆኑ ምንም አያረጋግጥም። ጀርባው ላይ ከ100 እስከ 240 ካላለ አትመኑት።

ለቀረጻ የምትገዙ ከሆናችሁ ደግሞ ማንም ሻጭ የማያሳያችሁ ቀዳዳ አለ፦ ዲአይ አውትፑቱ፣ ማለትም ድምፁን በቀጥታ ወደ ሚክሰር የሚልከው መውጫ። የእኔው ፔዳል ላይ ያለው ሞቶ ነበር። ወደ ሚክሰር ስሰካው የሚወጣው ድምፅ እንደ ትንኝ ነው። አንዳንድ ዕቃ ፋንተም በሚባለው፣ ከሚክሰሩ በገመዱ በኩል በሚመጣ 48 ቮልት ይጎዳል፤ የእኔው በምን እንደሞተ ግን የቀድሞ ባለቤቱ ነው የሚያውቀው። ኢንተርፌስ (ድምፁን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ ዕቃ) እና የጆሮ ማዳመጫ ይዛችሁ ሂዱ፣ እዚያው ቅዱ። ሳትጫወቱ ሠላሳ ሴኮንድ ዝምታውን ብቻ ቅዱና ከፍ አድርጋችሁ ስሙት። ጉርምርምታው መድረክ ላይ በድራም ይሸፈናል፣ ቀረጻ ላይ ግን ለዘላለም ይኖራል። ግራውንድ ሊፍት የሚል ቁልፍ (በሁለቱ ዕቃዎች መካከል ያለውን የግራውንድ ግንኙነት የሚያቋርጥ) ካለው ጫኑት፤ ጉርምርምታው ከጠፋ ችግሩ የዕቃው ላይሆን ይችላል። ለነገሩ ለቀረጻ ብቻ ከሆነ ያን ሁሉ ሣጥን ለምን ትሸከማላችሁ? ሞታውን በተባለው የአሜሪካ የሙዚቃ ኩባንያ ውስጥ ቤዝ ተጫዋቹ ጄምስ ጀመርሰን ብዙውን ሥራውን በቀጥታ ወደ ሚክሰሩ እየሰካ ነው የቀዳው። ንጹሕ ዲአይ ከመብራታማ ፔዳል ይበልጣል።

ሻጩን ደውዬለት ነበር። «አንተ ነህ ያበላሸኸው» አለ። ቀጥሎ ስልኩ አልሠራም። ማስታወቂያውን ቀድሞ አጥፍቶታል፤ እኔ ደግሞ ፎቶውን አላስቀመጥኩም። እናንተ ከመሄዳችሁ በፊት ስክሪንሹት አንሱ። ስትሞክሩም በስልካችሁ ቪዲዮ ቅዱ፣ የተለካውን ኦም ጭምር። የጨዋ ሻጭ ፊት በዚህ አይቀየርም።

ካቢኔቱ ላይ ትክክለኛ ባለ 8 ኦም ስፒከር አስገጠምኩ፤ ሄዱ ከዚያ ወዲህ አንዴም አልዘጋም። የተጨመረው ወጪ ሲደመር ርካሽነቱ ጠፋ፣ ግን ይሠራል። ፔዳሉን ልሽጠው ብዬ ማስታወቂያ መጻፍ ጀመርኩ። «ባለ ቲዩብ» የሚለው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ሰረዝኩና «ብርሃኑ ያምራል፣ ዲአዩ ሞቷል፣ ቲዩቧ ጌጥ ናት» ብዬ ለጠፍኩት። እስካሁን አንድም ሰው አልደወለም።