ከሶፍትዌር ማሻሻያው በኋላ ኢንተርኔቱ ለምን ተንቀራፈፈ? የአንድ አነስተኛ ቢሮ ፋየርዎል ከወራት አገልግሎት በኋላ

በቢሯችን የምንጠቀምበት ፋየርዎል፣ ማለትም በኢንተርኔትና በቢሮው ኔትወርክ መካከል ሆኖ የሚገባውንና የሚወጣውን የሚቆጣጠረው መሣሪያ፣ አራት ኮር (የማስሊያ ክፍል) ያለው ፕሮሰሰር የተገጠመለት፣ ማራገቢያ የሌለው አነስተኛ መሣሪያ ነው። ከ100 ሜጋ ቢት የፋይበር መስመር በስተኋላ ሆኖ የንድፍ ባለሙያዎቻችንን ኮምፒውተሮች፣ የፋይል ሰርቨሩንና የእንግዶችን ዋይፋይ ለየብቻ ያስተዳድራል። የእንግዳው ዋይፋይ ወደ ፋይል ሰርቨሩ እንዳይደርስ ይከለክላል፣ ከቤታቸው የሚሠሩትን በቪፒኤን (በተመሰጠረ የርቀት ግንኙነት) ያስገባል፣ መስመሩን የያዘው የትኛው ኮምፒውተር እንደሆነም ለይቶ ያሳያል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ማንም ሳይነካው ተነሥቶ መስመሩን ያገናኛል፤ አዲስ አበባ ላለ ቢሮ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በእነዚህ ሥራዎቹ ቅሬታ የለኝም፤ በሰፊው የምጽፈው ዋናውን የሶፍትዌር ማሻሻያ ከጫንን በኋላ ስለመጣው ችግር ነው።

ፋይል ስንልክ ፍጥነቱ እንደ ቀድሞው ነበር፤ ስናወርድ ግን ከ30 ሜጋ ቢት አያልፍም። ኢንተርኔት ሲዘገም መጀመሪያ የሚጠረጠረው መስመሩ ስለሆነ፣ ላፕቶፕ ከፋይበሩ መቀበያ ጋር በቀጥታ አገናኝተን፣ የመስመሩን መለያና የይለፍ ቃል አስገብተን ለካን፤ ከ90 ሜጋ ቢት በላይ አገኘን። ቀጥሎ ከአንድ የቢሮ ኮምፒውተር ወደ ፋይል ሰርቨሩ፣ በፋየርዎሉ ውስጥ አሳልፈን፣ አይፐርፍ በተባለው መለኪያ ሞከርን፤ እዚያም የጊጋ ቢት መስመር የሚሰጠውን ያህል ሰጠን። ስለዚህ መስመሩም፣ ኬብሉም፣ ስዊቹም ጤነኛ ነበሩ፤ የሚንቀራፈፈው በፋየርዎሉ የውጭ በር፣ ማለትም ከኢንተርኔት መስመሩ ጋር በሚገናኝበት በኩል፣ የሚገባው ትራፊክ ብቻ ነበር።

የፋየርዎሉ የመጀመሪያ ገጽ በዚያን ጊዜ የፕሮሰሰሩ ጫና 28 በመቶ መሆኑን ያሳይ ነበር፤ ያየው ሁሉ መሣሪያው ገና ብዙ አቅም እንደቀረው ያስባል። ይህ ቁጥር ግን የአራቱ ኮሮች አማካይ ነው። በየኮሩ የሚያሳየውን ዝርዝር ስንከፍት አንዱ ኮር 100 በመቶ ተጨናንቆ ሦስቱ ሥራ ፈትተው ተቀምጠዋል። ምክንያቱ መስመራችን የሚገናኝበት የፒፒፒኦኢ አሠራር ነው፦ እያንዳንዱ ፓኬት (መረጃው ተከፋፍሎ የሚላክበት ቁራጭ) በሌላ ሽፋን ተጠቅልሎ ስለሚመጣ፣ እንደ እኛ ያለው የኔትወርክ ካርድ በውስጡ ያለውን የአይፒ አድራሻ አይቶ ሥራውን ለኮሮቹ ማከፋፈል አይችልም፤ ሁሉንም በአንድ ወረፋ ለአንድ ኮር ይሰጣል። ከማሻሻያው በፊትም ይኸው አሠራር ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ለአንድ ኮር የሚከብድ ሥራ አልነበረም። ማሻሻያው አይፒኤስ የሚባለውን የጥቃት መከላከያ ደንቦች ወደ አዲስ አቀማመጥ ሲያዛውር፣ እኛ ዘግተናቸው የነበሩትን የደንብ ምድቦች በሙሉ መልሶ ከፍቷቸዋል። እያንዳንዱ የሚገባ ፓኬት በዚያ ሁሉ ደንብ እንዲፈተሽ ሲደረግ ብቸኛው ኮር አልቻለም።

መከላከያውን ለጥቂት ደቂቃ ስናጠፋው ፍጥነቱ ወዲያው ተመለሰ። እንደጠፋ መተው ግን መሣሪያውን የገዛንበትን ምክንያት መተው ስለሚሆን፣ ፍተሻውን ከውጭው በር አንሥተን የቢሮው ኔትወርክ ወደሚገናኝበት ውስጠኛው በር አዛወርነው። እዚያ ፓኬቱ ሽፋኑ ተገፎለት ስለሚደርስ ሥራው ለአራቱም ኮሮች ይከፋፈላል፤ ከዚህም በላይ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ የፋየርዎሉን የውጭ አድራሻ ሳይሆን የተጠረጠረውን ኮምፒውተር አድራሻ ያሳያል። ቀጥሎ ደንቦቹን ቀነስን። ለሕዝብ ክፍት የሆነ የድረ ገጽም ሆነ የኢሜይል ሰርቨር በቢሯችን ስለሌለ፣ እነዚህን የሚጠብቁ ደንቦች ፕሮሰሰሩን ከማድከም ሌላ ጥቅም አልነበራቸውም። ደግሞም የዛሬ የድር ትራፊክ በአብዛኛው የተመሰጠረ ስለሆነ፣ ሳይፈታ በሚደረግ ፍተሻ የሚታየው ጥቂት ነው፤ ደንብ ማብዛት ጥበቃ ማብዛት አይደለም።

ፍጥነቱ ከተመለሰ በኋላም አንዳንድ ገጾች ግማሽ ድረስ ተከፍተው ይቆሙ ነበር። ፒፒፒኦኢ ከእያንዳንዱ የ1500 ባይት ፓኬት 8 ባይት ለራሱ ስለሚወስድ በመስመሩ ማለፍ የሚችለው ትልቁ ፓኬት 1492 ባይት ነው። ፓኬቱ እንዳይከፋፈል አዝዘን ፒንግ ስናደርግ (የሙከራ ፓኬት ስንልክ) 1464 ባይት ያልፋል፣ 1465 አያልፍም፤ የቀሩት 28 ባይቶች የአይፒውና የፒንጉ ራስጌ (ከመረጃው ፊት የሚቀመጥ የማስተላለፊያ መረጃ) ናቸው። ማሻሻያው ኤምኤስኤስ የሚባለውን፣ በአንድ ፓኬት የሚጫነውን መረጃ መጠን የሚወስነውን ገደብ ባዶ አድርጎት ስለነበር 1452 ብለን ስንሞላው ገጾቹ ሙሉ በሙሉ መከፈት ጀመሩ። ትልቅ ፓኬት ሲታገድ ለላኪው የሚሄደውን መልእክት አንዳንድ ኔትወርኮች ስለሚዘጉት፣ ችግሩ በአንዱ ድረ ገጽ ታይቶ በሌላው አይታይም፤ ለዚህም ነው ብዙ ጊዜ በድረ ገጹ የሚሳበበው።

ከዚያ ወዲህ ማውረጃው ከ90 ሜጋ ቢት በታች ወርዶ አላየሁም፤ መሣሪያውንም አልቀይረውም። ፍጥነቱን ለማስመለስ ወደ ድሮው ቨርዥን መመለስ ይቻል ነበር፤ ነገር ግን የታወቁ የደኅንነት ክፍተቶች የሚደፈኑት በአዲሱ ስለሆነ አልመክረውም። የሚሻለው ከማሻሻያው በፊት የኮንፊገሬሽኑን ባክአፕ ማውረድ፣ የማውረጃና የመላኪያ ፍጥነቱን ከየኮሩ ጫና ጋር መዝግቦ መያዝ፣ ከማሻሻያው በኋላም ሁለቱን ማስተያየት ነው። በፒፒፒኦኢ የጊጋ ቢት መስመር ያለው ገዢ ደግሞ ከኮሮቹ ብዛት ይልቅ የአንዱን ኮር ጉልበት ይጠይቅ። አምራቹን የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው፦ የተጠቃሚው ምርጫ በማሻሻያ የሚለወጥ ከሆነ በማሻሻያው ማስታወሻ ላይ በግልጽ ይጻፍ፤ የየኮሩ ጫናም በመጀመሪያው ገጽ ላይ ይታይ።